የጽዋው ዋጋ በድኻው ላይ እንዳይከብድ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፥ አሜን።

ክቡራን አንባብያን ሆይ፤ በዚህ ወር የምንጽፈው ስለ ጌሾ፥ ስለ ብቅልና ስለ ገብስ ስለ ሆነ፥ ለአንዳንዱ ከጓዳ የማይወጣ ተራ ወሬ መስሎ ይታየው ይሆናል። ነገር ግን የነፍስ ፈተና ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው ከጓዳ ነው። የጓዳን ነገር ንቆ የሚያልፍ መምህርም የመንጋውን ጭንቀት ሊያውቅ አይችልም።

በአምባ ጊዮርጊስ አቅራቢያ በምናገለግልበት ደብር አንዲት ባልቴት ከቅዳሴ በኋላ ወደ እኛ ቀርባ፥ «አባቴ፥ ስሜን ከማኅበሩ መዝገብ ይፋቁልኝ» አለችን። ምክንያቱን ብንጠይቃት፥ በመጪው ወር በ23 ቀን የጽዋው ተረኛ እርሷ መሆኗን፥ ጌሾውም ብቅሉም ከአቅሟ በላይ መሆኑን፥ ያላትን አንዲት በግ ሸጣ ብትደግስ ግን ለክረምት የሚተርፋት ምንም እንደሌለ ነገረችን። «ቅዱስ ጊዮርጊስን በቅራሪ ከማሳፍረው ብቀር ይሻላል» ብላም አለቀሰች። እኛም የምንመልሰው ቃል አጣን። ባለፈው ወር በሌላ ድኻ ቤት የቀረበልንን ጠላ ቀምሰን «ዘንድሮ ውሃው በዛ» ብለን በቀልድ የተናገርን እኛው ነበርንና። እርሷም በዚያ ተቀምጣ ሰምታን ነበር።

እንግዲህ የእርሷ ዕንባ ይህን ጽሑፍ እንድንጽፍ አስገደደን።

ወገራ ከጥንት ጀምሮ የገብስ አገር ነው፤ ከዳባትና ከደባርቅ ደጋ ጋር ገብስ፥ ስንዴና ባቄላ ያበቅላል። ታዲያ በገብስ አገር ብቅል እንዴት ተወደደ? ቢባል፥ ምክንያቱ አንድ ብቻ አይደለም። በጥቅምት ወር 2013 ዓ.ም. የተነሣው ጦርነት በዚያው ዓመት በነሐሴ መጨረሻ እስከ ዳባት ወረዳ ደርሶ የጭናን ሕዝብ በኀዘን ጣለው። በጥቅምት ወር 2015 ዓ.ም. በፕሪቶሪያ የሰላም ስምምነት ቢፈረምም፥ ከዚያው ዓመት ክረምት ጀምሮ በክልላችን ሌላ ግጭት ተነሣ፤ መንገድም እየተዘጋ ነጋዴው ጭነቱን በጊዜው ማድረስ ተሳነው። በ2016 ዓ.ም. ጃናሞራንና አጎራባቾቹን ድርቅ መታቸው። በዚያው ዓመት በሐምሌ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ደግሞ ከውጭ የሚመጣው ማዳበሪያና ነዳጅ ዋጋው ጨመረ፤ የእርሻውና የጭነቱ ወጪም አብሮ ወጣ። ጌሾ ወይና ደጋን ስለሚወድ፥ ወደ ብርዱ አገር በአብዛኛው ተጭኖ የሚመጣ ነው። ስለዚህ መንገዱ በተዘጋ ቁጥር ዋጋው ይወጣል። ይህን ሁሉ የምንናገረው ባልቴቲቱ የደኸየችው በስንፍናዋ እንዳልሆነ እንድናውቅ ነው።

አሁን ወደ ትምህርቱ እንመለስ። እኛ ጠላን ለመኰነን አልተነሣንም። ጌታችን በቃና ዘገሊላ ሰርግ ተገኝቶ የወይን ጠጁ ባለቀ ጊዜ ያደረገውን በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 2 እናነባለን። በዚያ ሰርግ ጉድለቱን አስቀድማ ያየች እመቤታችን ናት፤ አይታም ለተጋባዡ ሁሉ አላወጀችም፥ ለልጇ ብቻ ነገረችው እንጂ። ባለሰርጉ ሳያፍር ጉድለቱ ተሞላለት። በእኛ ማኅበር ግን የአንዱ ጋን ጎደለ እንደ ሆነ፥ ወሬው ከጽዋው ቀድሞ በየቤቱ ይዞራል። ይህ የቃና ሥርዓት ነውን?

ቅዱስ ጳውሎስም በመጀመሪያይቱ የቆሮንቶስ መልእክቱ ምዕራፍ 11፥ በአንድ ማዕድ ተሰብስበው አንዱ እየተራበ ሌላው የሚሰክርባቸውን ምእመናን ይገሥጻል፤ የሌላቸውን ማሳፈር የእግዚአብሔርን ቤተ ክርስቲያን መናቅ እንደ ሆነም ያስተምራል። ልብ በሉ፤ ሐዋርያው የነቀፈው የማዕዱን ማነስ አይደለም፥ ድኻው የሚያፍርበት መሆኑን ነው እንጂ።

የዝክራችን መሠረት ምን እንደ ሆነ እናስታውስ። በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 10 ጌታችን ቃል ኪዳን ሲሰጥ፥ ዋጋው እንዳይጠፋ ያለው ስለ አንድ ጽዋ ቀዝቃዛ ውሃ ነው። ጌሾ አልጠየቀም፤ ብቅልም አልለካም። ቀዝቃዛ ውሃ ዋጋ ካለው፥ ቅራሪ በቅዱስ ጊዮርጊስ ስም ቢቀርብ የሚያሳፍረው ማንን ነው? ሰማዕቱን አይደለም፤ የእኛን ትዕቢት ነው።

ይሁን እንጂ ቃል ብቻ ተናግሮ መሄድ ለጓዳው አይጠቅምምና፥ እናቶች የሚያውቁትን ለማስታወስ ያህል ጥቂት እንጨምራለን።

በመጀመሪያ፥ የተዘጋጀ ብቅል ከመግዛት ይልቅ አዝመራው ገብቶ ገበያው ሲረግብ ገብስ ገዝቶ በቤት ማብቀል ይረክሳል። ገብሱን አንድ ቀን ያህል ዘፍዝፎ፥ ውሃውን አጥልሎ፥ በቅጠል ሸፍኖ በሙቅ ስፍራ ማኖር ነው፤ በ3 ወይም በ4 ቀን ይጎነቁላል፥ በብርድ አገር ግን ሊዘገይ ይችላል። ከዚያ በፀሐይ በሚገባ አድርቆ ማስቀመጥና በሚፈለግበት ጊዜ ማስፈጨት ይቻላል። የሻገተውን ግን ለቁጠባ ብሎ መቀላቀል ጤናን መሸጥ ነው።

ሁለተኛ፥ ጌሾን መትከል ነው። የዘጌ ገዳማት ሕዝብ በሬ ጠምዶ ሳያርስ በቡና፥ በጌሾና በሎሚ እንደ ኖረ የታወቀ ነው። በእኛም አገር ከብርዱ በተከለለ ጓሮና በደብሩ ቅጥር ዳርቻ ጥቂት እግር ጌሾ ቢተከል፥ ቅጠሉን በልክ እየቀነጠሱ ለብዙ ዘመን መጠቀም ይቻላል። ጌሾ መራራነትን ብቻ የሚሰጥ አይደለም፤ ጥንስሱ እንዲፈላና ጠላው ቶሎ እንዳይበላሽ ይረዳል። ስለዚህ ጌሾ ታጣ ተብሎ የማይታወቅ ቅጠል መክተት አይገባም፤ ጌሾውን ማሳነስና ጠላውን ፈጥኖ መጠጣት ይሻላል።

ሦስተኛ፥ ሁለትና ሦስት ቤት ተባብሮ በአንድ ጋን መጥመቅ፥ ድፍድፉንም በአንድ ውሃ ሳይጥሉ ቅራሪ ማውጣት፥ አተላውን ለከብት መስጠት፥ ለሕፃናትና ለሽማግሎች ጌሾ የማይገባበትን ቀሪቦ ማዘጋጀት ይቻላል። እህል በጠፋበት ዘመን ገብሱን ለአረቄ ማዋል ግን ከልጅ አፍ እንጀራ መንጠቅ ነው። በሌላው ዓለምም ቢሆን፥ እ.ኤ.አ. በ1917 የእንግሊዝ መንግሥት በጦርነቱ ምክንያት እህል ሲያንስ ለዳቦ እንዲተርፍ ብሎ የቢራውን መጠን ቀንሶ ነበር። ሕግ ያስገደዳቸውን እኛ በፍቅር ብናደርገው ምን ይጎዳናል?

ነጋዴ ወንድማችን ሆይ፤ አንተንም እንለምንሃለን። እህል የሚያስቀር ሰው በሕዝብ ዘንድ የተረገመ መሆኑን መጽሐፈ ምሳሌ በምዕራፍ 11 ይናገራል። ነቢዩ አሞጽም በምዕራፍ 8 መስፈሪያ የሚያሳንሱትንና የስንዴ ግርድ የሚሸጡትን ይወቅሳል። በጌሾ ላይ ሌላ ቅጠል የሚቀላቅል ከእነዚህ በምን ይለያል? ጠጪዎችም ሆይ፤ ጠላ ሸጣ ልጆቿን የምታሳድገውን እናት በዱቤ አታስጨንቋት። ለእርሷ ብቅሉ የተወደደው እንደ እናንተ ለድግስ ሳይሆን ለዕለት ጉርሷ ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ ግን ወቀሳው በእኛ በካህናት ላይ ነው። በተዝካር ቤት የጋኑን ቍጥር የምናይ፥ የድግሱን ማነስ ለፍትሐቱ ማነስ ምልክት የምናደርግ እኛ ነን። የሟች ነፍስ የምትረዳው በጸሎት፥ በቅዳሴና ለድኻ በሚሰጥ ምጽዋት ነው፤ ወላጅ አልባ ልጆች በሚወድቁበት ዕዳ አይደለም። እኛ ቅራሪውን በደስታ ተቀብለን ብንባርክ፥ ምእመናኑ ወጪውን ለመቀነስ ፈቃድ ከእኛ አገኙ ማለት ነው። ብንነቅፍ ግን ስብከታችን ሁሉ ከንቱ ይሆናል።

የባልቴቲቱን ነገር እንፈጽም። ስሟን አልፋቅንም። በሚቀጥለው እሑድ በማኅበርተኛው ፊት ቆመን ያን የተናገርነውን ቀልድ አንሥተን ይቅርታ ጠየቅን። የማኅበሩም ሙሴ ከሽማግሎቹ ጋር መክሮ፥ ኑሮው እስኪረግብ ድረስ ለተረኛው እያንዳንዱ አንድ ጣሳ ብቅልና አንድ እፍኝ ጌሾ እንዲያዋጣ፥ ጋኑም ከአንድ እንዳይበልጥ ወሰነ። የ23 ቀን በደረሰ ጊዜ ጠላው ቀጭን ነበር፤ ዳቦውም አንድ ነበር። ባልቴቲቱ ግን ጽዋውን በሁለት እጇ ይዛ ቀና ብላ አቀረበችልን፤ በጓም በደጅ ታስራ ነበር። እኛም ባርከን ጠጣን።

ምእመናን ሆይ፤ ጽዋ የሚዞረው ወንድማማችነት እንዲጠና ነው። ስለዚህ የሚቀጥለው ተረኛ ማን እንደ ሆነ ዛሬውኑ ጠይቁ፤ የጎደለውንም ሳያፍር ሙሉለት። ቸሩ አምላካችን ለአገራችን ሰላምን፥ ለምድራችን ዝናምን፥ ለልባችንም ርኅራኄን ይስጥልን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፥ አሜን።