ጭሰኛው ለግንቡ ምን ዕዳ አለበት?

ያስጠጋን ሰው በሕሊናችን ላይ ሊያዝ ይችላል? ጥያቄውን እንዲሁ በደፈናው ከምናነሳው አንድ ግንብ ይዘን እንነሳ።

በስኮትላንድና በእንግሊዝ ድንበር አካባቢ፣ ስሜልሆልም የሚባል ግንብ በአለት ጉብታ ላይ ዛሬም ቆሟል። በ15ኛው መቶ ዓመት ፕሪንግል የሚባሉ ባላባቶች የሠሩት ነው፤ ቁመቱ 20 ሜትር፣ የግድግዳው ውፍረት ሁለት ሜትር ያህል ይሆናል። ሁለት መንግሥታት በሚሻኮቱበት በዚያ አገር ሕግ ሩቅ ነበር። ከወዲያም ከወዲህም ፈረሰኛ በሌሊት ይመጣል፤ ከብት ይነዳል፣ ጎጆ ያቃጥላል። በ1535 እ.ኤ.አ. የስኮትላንድ ፓርላማ በድንበሩ የመቶ ፓውንድ መሬት ያለው ባላባት ሁሉ ጎኑ 60 ጫማ የሆነ የድንጋይ ቅጥር እንዲሠራ አዘዘ። ለምን ቢሉ፣ በክፉ ቀን እሱም፣ ጭሰኞቹም፣ ንብረታቸውም እንዲጠለሉበት።

መልካም ሕግ ነው እንበል። ጭሰኛው ቤቱ ሲነድ ልጆቹን ታቅፎ ወደ ቅጥሩ ይሮጣል፤ በሩ ይከፈትለታል። ታዲያ በነፃ ነው እንዴ የሚከፈተው? ጌታው በተራው ለዘረፋ ፈረስ ሲጭን፣ ጭሰኛውም ጦሩን ይዞ ይከተላል። ትናንት የተቃጠለበት ሰው ዛሬ የሌላውን ጎጆ ያቃጥላል።

አልከተልም ቢልስ? «የበላበትን ወጪት ሰባሪ» ለማለት እንቸኩላለን። ግን እስቲ እናስተውል። ውለታ የሚከፈለው ከራስ ጉልበት፣ ከራስ እህል ነው። ምንም ካልተበደርነው የድንበር ማዶ ገበሬ በረት አውጥተን ብንከፍል፣ ዕዳችንን በሰው ላይ ጫንን እንጂ መች ከፈልን?

በዚያው ድንበር ገበሬው እንዳይዘረፍ ሲል ለዘራፊዎች የሚገብረው «ጥቁር ግብር» ነበረ፤ አስፈራርቶ ገንዘብ መቀበልን እንግሊዞች ዛሬም የሚጠሩት በዚሁ ቃል ነው። አስጠግቶ ዘረፋ የሚያዝ ጌታስ ከእነዚያ በምን ይለያል?

እምቢ ቢል የት ይገባል የሚለን ይኖራል። እውነት ነው። በሩ አንድ ብቻ ሲሆን «ፈቅዶ ሄደ» ማለት ፌዝ ነው። ስለዚህ ወቀሳው የሚከብደው በባለበሩ ላይ ነው። ጭሰኛውም ቢሆን ግን ችቦውን የያዘው በገዛ እጁ ነው፤ ከዚህ ነፃ ልናወጣው አንችልም።

በ1603 እ.ኤ.አ. ሁለቱን ዘውዶች አንድ ንጉሥ ደፋ። ድንበሩ መሐል አገር ሆነ፤ ከዘራፊዎቹ ብዙዎች ተሰቀሉ፣ ሌሎች ወደ አየርላንድ ተጋዙ። ግንቦቹም ውለው አድረው ሥራ ፈቱ። ጥያቄው ግን ሥራ አልፈታም። ያስጠጋን ሁሉ፣ ጌታም ይሁን ዘመድ ወይም ወገን፣ ምስጋናችንን ይጠይቀን፤ ጉልበታችንንም ይጠይቀን። የጎረቤታችንን ጎጆ ግን አይጠይቀን።