ጥፋተኛውን ፍለጋ

ባለፈው መስከረም አንድ ባለ 50 ሉክ ደብተር ገዝቼ ሽፋኑ ላይ «ያነበብኳቸው» ብዬ ጻፍኩ። ጳጉሜን ላይ ስቆጥር 19 መጻሕፍት ሆኑ። አሥራ አንዱ የወንጀል ምርመራ ታሪኮች ናቸው። አምስቱ ዘንዶና ድንክ፣ የሚናገሩ እንስሳትና የተደበቁ መንግሥታት የሞሉባቸው ምናባዊ ታሪኮች ናቸው። የቀሩት ሦስቱ ለጥናት ቡድናችን የታዘዙ ስለሆኑ በራሴ ምርጫ አነበብኳቸው ብዬ አልመካም። ገሚሱን ከመጽሐፍ አዟሪ ገዛሁ፣ ገሚሱን ተዋስኩ፣ የቀረውን መብራት ሲጠፋ ሳይቀር ስልኬ ላይ አፍጥጬ አነበብኩት።

የዓመቱን ምርጦች ለእናንተ ለመጻፍ ስቀመጥ ነገሩ ቀላል መስሎኝ ነበር። አምስት ርዕስ መርጬ፣ በየሥሩ ሁለት ሁለት መስመር ጽፌ ልገላገል ነበር ያሰብኩት። ግን ደብተሩን ሳገላብጥ የካቲት ባዶ ነው። በዚያ ወር አንድም ነገር አላነበብኩም። ለምን እንዳላነበብኩ ሳልነግራችሁ ስለ መጻሕፍቱ ብቻ ብጽፍላችሁ የነገሩን ግማሽ መደበቅ ይሆንብኛል።

አስቀድሜ የጋሼን ጥያቄ ላንሳ። በልጅነቴ ሰንበት ትምህርት ቤት ያስተማሩኝ አባት ናቸው። አንድ እሑድ ግቢ ውስጥ መጽሐፍ ይዤ አዩኝና ተቀብለው ሽፋኑን አገላብጠው ተመለከቱት። «ልጄ፣» አሉኝ፣ «ሰው ስለ መግደልና ስለ ጠንቋይ የተጻፈ ነገር ለነፍስ ምን ይረባል?»

ለዚህ ጥያቄ ሁላችንም የሸመደድነው መልስ አለን። ሲ. ኤስ. ሉዊስ አማኝ ነበር፤ ቶልኪንም አማኝ ነበር። እንዲያውም ሉዊስ እ.ኤ.አ. በ1931 ወደ ክርስትና የመጣው ከቶልኪንና ከሌላ ወዳጃቸው ጋር እስከ ውድቅት ድረስ ከተወያየ በኋላ ነው። ይህ እውነት ነው፤ መልስ ግን አይደለም። ግንበኛው አማኝ ስለሆነ ግድግዳው አይዘምም አይባልም። ደግሞም የጋሼን ጥያቄ እንደ ኋላ ቀርነት አይቼ ልስቅበት አልፈለግኩም። ለእንግሊዝ ልጆች ጠንቋይ ማለት ሹል ቆብ ያደረገ የተረት ሰው ነው። ለጋሼ ግን እናታቸው ገብስማ ዶሮ ይዘው ደጁ የሚጠኑት፣ ቤት የሚታወቅ ሰው ነበር። ከዚያ ወጥተው ወደ ጌታ ለመጡ ሰዎች ነገሩ ጨዋታ አይደለም።

ለእሳቸው የመለስኩት ይህንን ነው። በቶልኪን መጽሐፍ ውስጥ ያለው ጋንዳልፍ በእንግሊዝኛ የተጠራበት ቃል ሥሩ ጥበብ ነው። ወደ አማርኛ የሚመልሰው ሰው «ጠንቋይ» ካለው ታሪኩን ገና ከደጁ ገደለው፤ «ጠቢብ» ቢለው ይሻላል። ጋንዳልፍ ሙታን አይጠራም፣ መተት አይሠራም፣ ገንዘብ ተቀብሎ ዕጣ አይጥልም። በሉዊስ «አንበሳው፣ ጠንቋይዋና ቁም ሣጥኑ» ውስጥም ጠንቋይዋ ጠላት ናት፤ እንዴት እንደሚጠነቆል ከመጽሐፉ የሚማር ልጅ የለም። ጋሼ ሰሙኝ፤ ሙሉ በሙሉ አላመኑኝም። መጽሐፉን ሲመልሱልኝ ግን ፈገግ ብለው ነበር።

አሁን ሳስበው ሁለታችንም የፈራነው የተሳሳተውን መደርደሪያ ነው። ስለ ሼርሎክ ሆምስ ማንም አላስጠነቀቀኝም። እሱ መተት የለውም፤ ያለው አእምሮ ብቻ ነው። አርተር ኮናን ዶይል እ.ኤ.አ. በ1887 ለመጀመሪያ ጊዜ ለዓለም ሲያቀርበው፣ ሆምስ ገና ከዶክተር ዋትሰን ጋር እጅ እንደተጨባበጠ ሰውየው ከአፍጋኒስታን እንደመጣ ይነግረዋል። ፀሐይ ያጠቆረው ፊት፣ የተጎዳ ክንድ፣ የወታደር አቋም፤ ከእነዚህ ተነሥቶ ነው። ይህን ያነበበ ሰው ሁሉ በማግሥቱ ሚኒባስ ውስጥ ምን እንደሚያደርግ ታውቃላችሁ። እጅጌው ላይ ጠመኔ ያለበት አስተማሪ ነው። ጫማዋ ቀይ አፈር የያዘው ሴት አስፋልት ካልደረሰበት ሰፈር ነው የመጣችው። እስከ ጥር ድረስ ሰዎችን እንዲህ ሳነብ ከረምኩ። ደስ ይል ነበር።

የካቲት ላይ ለወጣቶች ጉባኤ ጉዞ ያዋጣነው 4,200 ብር ከቢሮ መሳቢያ ጠፋ። ገንዘብ ያዡ እኔ ነበርኩ። እሑድ ፖስታ ውስጥ ከትቼ አስቀመጥኩ፤ ማክሰኞ ስከፍት የለም። ሰኞ ማታ የኪቦርድ ገመድ ሊወስድ ቢሮ የገባው አንድ ወንድም ብቻ ነው። ወደ ጌታ ከመጣ ዓመት ያልሞላው ነው። በምስክርነቱ ላይ ድሮ ስልክ ይሰርቅ እንደነበር እሱ ራሱ በአደባባይ ነግሮናል። በዚያ ሳምንት አዲስ ጫማ አድርጓል። ሰላም ስለው ዓይኔን አላየኝም። ሁሉም ገጠመልኝ። ሲገጥምልኝ የተሰማኝን ነገር ሳልደብቅ ልንገራችሁ፦ ከሐዘኑ ይልቅ ደስታው ይበልጥ ነበር። የመጨረሻው ምዕራፍ ላይ የደረስኩ ያህል።

ለማንም አልተናገርኩም፤ ቢያንስ ለራሴ ያልኩት እንደዚያ ነው። ለሁለት ሰዎች ብቻ «ለጸሎት» ነገርኩ። ይህን ዘዴ ታውቁታላችሁ። ስም አይጠራም፣ ድምፅ ዝቅ ይላል፣ «ብቻ በጸሎት አስቡት» ይባላል። በሁለት ሳምንት ውስጥ ያ ወንድም የመዘምራን ልምምድ አቆመ። ሦስተኛው ሳምንት ላይ ለቅሶ ገጠር ሄዳ የነበረችው የቢሮ ጸሐፊ ተመለሰች። ገንዘቡን ሰኞ ጠዋት ባንክ አስገብታው ነበር። ደረሰኙን በእኔ ፋይል ውስጥ አስቀምጣልኛለች። ፋይሉ ጠረጴዛዬ ላይ ነበር። አልከፈትኩትም።

ከዚያ በኋላ መጽሐፍ መክፈት አስጠላኝ። ያነበብኳቸውን መርማሪዎች መውቀስ ቀላል ነው፤ ግን እነሱ ቢሆኑ መጀመሪያ ፋይሉን ይከፍቱ ነበር። እኔ ምርመራ አላደረግኩም። ድካሙን ዘልዬ ፍርዱን ብቻ ወሰድኩ። ደግሞ የሚያሳፍረው ሌላ ነገር አለ። እነዚህን ታሪኮች የሚወድ ሰው ሁሉ፣ ገና በሦስተኛው ምዕራፍ ላይ ሁሉም ማስረጃ የሚያመለክትበት ሰው ንጹሕ መሆኑን ያውቃል። አጋታ ክሪስቲ እ.ኤ.አ. በ1926 ባሳተመችው የሮጀር አክሮይድ ግድያ ታሪክ ላይ (ፍጻሜውን አልነግራችሁም፤ አንብቡት) ይህን በደንብ ተምሬ ነበር። ለወረቀት ሰዎች የሰጠሁትን ጥንቃቄ አብሮኝ ለሚዘምር ሰው አልሰጠሁትም።

መጋቢት ላይ ደብተሬን ሳገላብጥ ታኅሣሥ ላይ የጻፍኩትን አንድ መስመር አየሁ፦ «ቢጫው ፊት። ደካማ ታሪክ። ሆምስ ተሳሳተ።» እ.ኤ.አ. በ1893 የታተመ አጭር ታሪክ ነው። አንድ ሰው ሚስቱን ይጠረጥራል። ጎረቤት ወዳለች ትንሽ ቤት ተደብቃ ትሄዳለች፤ በቤቲቱ መስኮት ላይ የሚያስፈራ ቢጫ ፊት ይታያል። ሆምስ ከለንደን ሳይነሣ ነገሩን ይፈታዋል። ሞተ የተባለው የመጀመሪያ ባሏ በሕይወት አለ፣ እያስፈራራ ገንዘብ ይቀበላታል ይላል። ሁሉም ይገጥማል። ሄደው በሩን ገፍተው ሲገቡ የሚያገኙት ጭምብል ያደረገች ሕፃን ልጅ ነው። ጭምብሉ ሲነሣ አንዲት ጥቁር ሕፃን ትስቅባቸዋለች። የሴትየዋ የመጀመሪያ ባል አሜሪካዊ ጥቁር ነበር፤ በእርግጥም ሞቷል። እናት ልጇን የደበቀችው አዲሱን ባሏን እንዳታጣ ፈርታ ነው። ዘመኑ ከአድዋ ድል ሦስት ዓመት በፊት መሆኑን አስቡት፤ በዚያ ጊዜ የእንግሊዝ መጽሔት አንባቢ ምን ፍጻሜ ይጠብቅ እንደነበር መገመት አያስቸግርም። ባልየው ግን ለረጅም ጊዜ ዝም ካለ በኋላ ሕፃኗን አነሣት፣ ሳማት፣ በሌላ እጁ ሚስቱን ይዞ ወደ ቤት ሄደ። ሆምስም ዋትሰንን አንድ ነገር ይለምነዋል፦ በችሎታዬ ከልክ በላይ ስተማመን ካየኸኝ የዚህን ሰፈር ስም በጆሮዬ ሹክ በለኝ ይለዋል። ሰፈሩ ኖርበሪ ይባላል።

ታኅሣሥ ላይ ደካማ ያልኩት ለምን ነበር? መርማሪው ስላላሸነፈ። ታሪኩ ውስጥ ሕፃን ልጅ መዳኗን ያየሁ አይመስለኝም።

ነቢዩ ናታን ለዳዊት የነገረውን ታስታውሳላችሁ፤ የድሃውን አንዲት በግ ስለ ወሰደው ባለጸጋ። ዳዊት ታሪኩን እንደ እኛ ነው የሰማው፤ ጥፋተኛውን አወቀ፣ ተቆጣ፣ ፈረደ። ፍርዱም ትክክል ነበር፤ ሰውየውን ብቻ አላወቀውም። በመጨረሻው እራት ጊዜ ደግሞ ከመካከላችሁ አንዱ አሳልፎ ይሰጠኛል ሲባል ደቀ መዛሙርቱ ያደረጉት ነገር ሁልጊዜ ይገርመኛል። ማንም ጎረቤቱን አላመለከተም። እያንዳንዱ የጠየቀው ስለ ራሱ ነው። እኛ ብንሆን የገንዘብ ከረጢቱን ማን እንደሚይዝ እናስታውስ ነበር። ደግሞም ግምታችን ትክክል ይሆን ነበር፤ ያ ነው የሚያስፈራኝ።

እንግዲህ ጥፋትን መመርመር ኃጢአት ነው አልልም። ገንዘቡ በእውነት ተሰርቆ ቢሆን ኖሮ ማጣራት ግዴታዬ ነበር፤ ዝም ማለት ለሰራቂውም አይበጅም። የጂ. ኬ. ቼስተርተን መርማሪ አባ ብራውን የሚባሉ ትንሽ፣ ጃንጥላቸውን የሚረሱ ቄስ ናቸው። ነፍሰ ገዳዮቹን እንዴት እንደሚያገኙ ሲጠየቁ ምሥጢሩን ይናገራሉ፦ ያን ወንጀል እሳቸው ራሳቸው ሊሠሩት የሚችሉበትን መንገድ በልባቸው እስኪያገኙት ድረስ ይፈልጋሉ፤ ከዚያ ሰውየውን ያውቁታል። (አዎን፣ ካቶሊክ ናቸው፤ ጋሼ ይህን ገና አላዩም።) የሚገርመው በመጀመሪያው ታሪክ ያጋለጡት ታላቅ ሌባ በኋላ ንስሐ ገብቶ ወዳጃቸው መሆኑ ነው። ሆምስ ሰውን ከውጭ ያነባል፤ አባ ብራውን ከራሳቸው ይጀምራሉ። እኔ ስለ ራሴ አንድም ጥያቄ ሳልጠይቅ ነበር የአንድን ሰው ጫማ ያነበብኩት። በነገራችን ላይ ጫማውን ማን እንደገዛለት እስከ ዛሬ አላውቅም፤ መጠየቅም መብቴ አይደለም።

በዓመቱ ውስጥ ሁለቴ ያነበብኩት መጽሐፍ ግን የቶልኪን «ሆቢት» ነው። ቢልቦ የሚባለው ትንሽ ሰው በተራራ ሆድ ውስጥ፣ በጨለማ፣ ሊበላው ከሚፈልግ ጎለም ከሚባል ፍጡር ጋር ይገናኛል። ከእንቆቅልሽ ውድድራቸው በኋላ ቢልቦ በአስማት ቀለበት ተሰውሮ ቆሟል፤ ሰይፍ ይዟል። ጎለም መውጫውን ዘግቶታል፤ መሣሪያ የለውም፤ አያየውምም። መግደል ቀላል ነው፤ ምክንያትም አለው። ቢልቦ ግን የዚያን ፍጡር የጨለማ ኑሮ፣ ብቸኝነቱን፣ ተስፋ ማጣቱን በድንገት ያየዋል። በላዩ ዘሎ ያልፈዋል።

ኋላ የተረዳሁት ነገር አለ። መጽሐፉ እ.ኤ.አ. በ1937 ሲታተም ይህ ትዕይንት አልነበረውም። በመጀመሪያው እትም ጎለም ቃሉን ጠብቆ መንገዱን ያሳየዋል፤ ምሕረት የሚያስፈልገው ነገር የለም። ቶልኪን ተከታዩን ትልቅ ታሪክ ሲጽፍ ጎለም እየከፋ ሄደ፤ ስለዚህ ምዕራፉን እንደገና ጻፈው፤ የታረመው በ1951 ወጣ። ደራሲው ፍጡሩን የባሰ ክፉ ባደረገው ጊዜ ነው ምሕረቱ ወደ ታሪኩ የገባው። የኋለኛውን መጽሐፍ ያነበባችሁ፣ ያ አንድ ዝላይ ባይኖር ቀለበቱ እንደማይጠፋ ታውቃላችሁ። ቢልቦ ይህን አያውቅም ነበር። አስልቶ አላደረገውም፤ አዝኖ ብቻ ነው።

ሚያዝያ ላይ ያ ወንድም ወደሚሠራበት የስልክ ጥገና ሱቅ ሄድኩ። አስቀድሜ «ለጸሎት» የነገርኳቸውን ሁለቱን ሰዎች አግኝቼ ውሸት እንደነገርኳቸው ነግሬያቸዋለሁ፤ ያ ከዚህኛው ይከብድ ነበር። እሱ የአንድ ስልክ ጀርባ ፈቶ ይሠራ ነበር። ሁሉንም ነገርኩት። ብሎን መፍቻውን አስቀመጠ።

«ከሰላምታችሁ አውቄው ነበር፣» አለኝ። «መጀመሪያ ትከሻ ነበር የምትሰጡኝ። ከዚያ እጅ ብቻ ሆነ። ገንዘብ መጥፋቱን ግን አልሰማሁም። ምን አጥፍቼ ይሆን እያልኩ ስፈልግ ነው የከረምኩት።»

ወደ መዝሙር አልተመለሰም። አንዳንድ እሑድ ይመጣል፤ ኋላ ወንበር ላይ ይቀመጣል፤ ሳንሰነባበት ቶሎ ይወጣል። «ሆቢት»ን አውሼዋለሁ። እንግሊዝኛው እየከበደው ቀስ እያለ ነው የሚያነበው። ባለፈው ስጠይቀው እንቆቅልሹ ጋ ደርሷል።

«ይሄ ጎለም የሚባለው ግን ደስ አላለኝም፣» አለኝ።

ምንም አላልኩትም።