ስለ በጎ ልማድና ስለ ጸና ተስፋ

የሰው ጠባይ በአንድ ቀን አይታነጽም፤ በአንድ ቀንም አይፈርስም። በደግነቱ የሚመሰገነውም ሆነ በክፋቱ የሚፈራው ሰው ካለበት ስፍራ የደረሰው ዕለት ዕለት በሚደጋግማት ትንሽ ሥራ እየተመራ ነው። ስለዚህ የነፍሱን ነገር የሚያስብ ክርስቲያን ማታ ወደ መኝታው ሲሄድ «ዛሬ ምን ሠራሁ?» ብሎ ብቻ ሳይሆን፥ «ምን እየለመድሁ ነው?» ብሎም ራሱን ሊጠይቅ ይገባዋል። በዚህ ጽሑፍ ልንመረምር የወደድነው በጎ ልማድ በሰው ላይ እንዴት እንደሚተከል፥ ልማዱም በተሰናከለ ጊዜ ሰው ተስፋውን እንዴት እንደሚጠብቅ ነው። በእነዚህም በሁለቱ መካከል ብዙ ምእመናንን የሚያስጨንቅ አንድ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም «በልማድ የሚደረግ ጾምና ጸሎት በእግዚአብሔር ፊት ዋጋ አለውን?» የሚለው ነው።

አስቀድመን የቃሉን ነገር እንመልከት። በቋንቋችን «ልማድ» የሚለውና «ለማዳ» የሚለው ቃል ሁለቱም «ለመደ» ከሚለው ከአንዱ ግሥ የወጡ ናቸው። ለማዳ የምንለው ቀድሞ ከሰው ይሸሽ የነበረውን፥ በኋላ ግን ከሰው እጅ መብላት የጀመረውን እንስሳ ነው። ይህ እንስሳ የለመደው በዱላ ብዛት ወይም በአንድ ቀን ትግል አይደለም፤ በየዕለቱ በአንድ ሰዓት፥ በአንድ ስፍራ ምግቡን እያገኘ ፍርሃቱን ጥቂት በጥቂት ስለ ተወ ነው እንጂ። ገበሬም ወይፈኑን ለእርሻ ሲያቀና ብቻውን አይጠምደውም፤ ከቀናው በሬ ጋር አጣምሮ ጥቂት ትልም ያስኬደዋል፥ በማግሥቱም ይጨምርለታል። በመጀመሪያው ቀን ሙሉውን እርሻ ሊያሳርሰው ቢሞክር ወይፈኑ ይጎዳል፤ ወይም ቀንበርን እንደ ጠላ ይቀራል። ብዙ ሰው በነፍሱ ላይ የሚያደርገው ግን ይህንኑ ነው። በዘመን መለወጫ ወይም በጾም መግቢያ ሁሉን በአንድ ቀን ሊጀምር በታላቅ ቍጣ ይነሣል፤ ሳምንትም ሳይሞላው ሁሉን ትቶ ይቀመጣል፤ ከዚያም «እኔ ለዚህ አልተፈጠርሁም» ይላል። የጐደለው ግን አነሣሡ እንጂ ተፈጥሮው አልነበረም።

ልማድ በራሱ ደግም ክፉም አይደለም፤ እህል ቢጭኑትም ዐመድ ቢጭኑትም ተሸክሞ እንደሚሄድ የጭነት ከብት ነው። አበው «ክፉ ልማድ ያሰርቃል ከማዕድ» ብለው የተናገሩት ጥልቅ ምሥጢር አለው። ከማዕድ የሚሰርቅ ሰው የሚሰርቀው ተርቦ አይደለም፥ ማዕዱ ቀርቦለታልና፤ ነገር ግን እጁ አሳቡን ቀድማ ትሄዳለች። እንግዲህ ክፉ ልማድ ፈቃዳችንን ቀድሞ ወደ ጥፋት የሚወስደን ከሆነ፥ በጎ ልማድ ደግሞ ስንፍናችንን ቀድሞ ወደ መልካም ሥራ ሊያደርሰን እንዲችል ማሰብ ይገባል።

ይህን ነገር ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ384 እስከ 322 ዓመት የኖረው የግሪክ ፈላስፋ አሪስጣጣሊስ አስተውሎታል። ግንበኛ ግንበኛ የሚሆነው በመገንባት እንደ ሆነ፥ ሰውም ፍትሐዊ የሚሆነው የፍትሕን ሥራ በመሥራት እንደ ሆነ አስተምሯል። አባቶቻችን ይህን እውነት በበረሓ ኑሯቸው ፈትነውታል፤ የጸጋንም ነገር ጨምረውበታል። መታሰቢያው ጥቅምት 20 ቀን የሚደረገው አባ ዮሐንስ ሐጺር ገና ረድእ ሳለ አረጋዊው መምህሩ አንድ ደረቅ በትር በምድር ተክሎ በየቀኑ ውኃ እንዲያጠጣው አዘዘው። ውኃው ከዚያ ስፍራ እጅግ የራቀ ነበር። ዮሐንስም ለምን ሳይል ሲያጠጣ ኖሮ በሦስተኛው ዓመት በትሩ ለምልሞ አፈራ፤ አረጋዊውም ፍሬውን ለመነኰሳቱ የመታዘዝ ፍሬ ነው ብሎ ሰጣቸው። ይህን ታሪክ የሚሰማ ሁሉ የሚያደንቀው የበትሩን መለምለም ነው። እኛ ግን ፍሬው ከመታየቱ በፊት ያለፉትን ቀናት እናስብ። በእነዚያ ቀናት በበትሩ ላይ ምንም አልታየም፤ ነገር ግን ውኃውን በሚቀዳው ሰው ላይ ትዕግሥት ይበቅል ነበር። ደረቁን እንጨት ያለመለመ እግዚአብሔር ነው፤ የዮሐንስም ድርሻ ማጠጣት ነበር። በጎ ልማድ ማለት ይህ ነው፤ ፍሬውን ለባለቤቱ ትቶ ውኃውን በየዕለቱ መቅዳት ነው።

በዘመናችን ያሉ የሥነ ልቡና ሊቃውንትም በዚህ ነገር ላይ ምርምር አድርገዋል። በለንደን ከተማ በሚገኘው ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የነበሩ ተመራማሪዎች በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ2010 ዓ.ም. ባሳተሙት ጥናት 96 ፈቃደኞች እያንዳንዳቸው አንድ ትንሽ ነገር መርጠው፥ ለምሳሌ ከምሳ ጋር ውኃ መጠጣትን የመሰለ ነገር፥ ለ12 ሳምንት በየቀኑ በአንድ በተወሰነ ጊዜ እንዲያደርጉ ተደረገ። ያ ነገር ያለ ብዙ አሳብ የሚደረግ ልማድ እስኪሆን ድረስ የፈጀው ጊዜ ከሰው ሰው ይለያይ ነበር፤ ከ18 ቀን እስከ 254 ቀን እንደሚደርስ ተገመተ፥ መካከለኛውም 66 ቀን ሆኖ ተገኘ። ከሁሉም ይልቅ ለእኛ የሚጠቅመን፥ አንድ ቀን ማጓደል የልማዱን ሥር እንዳልነቀለው መታወቁ ነው። ከዚህ ሦስት ነገር እንማራለን። ልማድ በትንሹ ይጀመራል፤ በታወቀ ሰዓት ይታሰራል፤ አንድ ቀን ቢጓደልም በማግሥቱ ከተቀጠለ አይጠፋም።

ቅድስት ቤተ ክርስቲያን ይህን ጥበብ በሥርዓቷ ውስጥ አስቀድማ ይዛዋለች። ጸሎትን «በተመቻችሁ ጊዜ አድርጉት» ብላ አልተወችውም፤ በነግህ፥ በሠለስት፥ በቀትር፥ በተሰዓት፥ በሠርክ፥ በንዋም፥ በመንፈቀ ሌሊት ብላ በሰባት ጊዜ ወሰነችው። ጾምንም በየሳምንቱ በረቡዕና በዓርብ፥ በየዓመቱም በሰባቱ አጽዋማት አጸናችው። ሰዓቱ ሲደርስ «ልጸልይን ወይስ አልጸልይ?» የሚል ክርክር እንዳይነሣ ሥርዓቱ ክርክሩን አስቀድሞ ፈጽሞታል። ነገር ግን እዚህ ላይ በምእመናን ዘንድ የሚታይ አንድ ጉድለት አለ። በዐቢይ ጾም 55 ቀን ሙሉ ማልዶ የተነሣ፥ ምላሱን ከሐሜት የጠበቀ፥ ለድኻ የዘረጋ ሰው፥ ፋሲካ በሆነ ማግሥት ከጥሉላቱ ጋር ሐሜቱንም እንቅልፉንም ይገድፍባቸዋል። ቤተ ክርስቲያን ከትንሣኤ እስከ ጰራቅሊጦስ ባለው 50 ቀን የፈታችልን የምግብን ጾም ነው፤ ጸሎትንና ምጽዋትን፥ አንደበትን መግታትንስ መቼ ፈታችልን? በ55 ቀን የተተከለውን ተክል በአንድ ቀን ድግስ መንቀል ታላቅ ኪሳራ ነው። ከጾሙ ወራት ልማድ አንዲቱን እንኳ መርጦ ወደ ፋሲካው ወራት የተሻገረ ሰው በሚመጣው ዓመት ጾሙን ከዜሮ አይጀምርም።

አሁን ወደ ተነሣው ጥያቄ እንመለስ። «እኔ የምጸልየው በልማድ ነው፤ አፌ ይደግማል፥ ልቤ ግን በገበያ ነው፤ እንዲህ ያለውን ጸሎት ብተወው አይሻልምን?» የሚሉ ብዙዎች ናቸው። ይህ አነጋገር ትሕትና ይመስላል፤ ፍጻሜው ግን ጸሎትን መተው ነው። በንባብ ቤት ያለውን ሕፃን እንመልከት። በመጀመሪያ ፊደሉን እየለቀመ በግእዝ ሲያነብ ኀይሉ ሁሉ የሚያልቀው በፊደሉ ላይ ነው፤ ስለ ምሥጢሩ የሚያስብበት አቅም የለውም። ከብዙ ድካም በኋላ ንባቡን ሲለምደው፥ ዳዊቱንም በቃሉ ሲይዘው፥ ልቡናው ከፊደል ድካም ያርፋል። ያን ጊዜ ሁለት መንገድ ይከፈትለታል፤ በተገኘው ዕረፍት ምሥጢሩን ሊያስብ ይችላል፥ ወይም አሳቡን በየሜዳው ሊያሰማራ ይችላል። ስለዚህ ልማዱ የልብ ጠላት አይደለም፤ ለልብ ጊዜ የሚሰጥ አገልጋይ ነው። ጥፋቱ የተሰጠንን ጊዜ በከንቱ ማጥፋታችን ነው። ልማድ ሰውነታችንን እስከ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ያደርሳል፤ ከደጁ ወደ ውስጥ መግባት ግን የፈቃድ ሥራ ነው። የሚገባው ማቋረጥ ሳይሆን ከመጀመር በፊት ጥቂት ዝም ብሎ ቆሞ «በማን ፊት ነኝ?» ብሎ ልብን መቀስቀስ ነው።

ይህ ሲባል ልማድ አደጋ የለውም ማለት አይደለም። ጌታችን በምሳሌ የተናገረለት ፈሪሳዊ በሳምንት ሁለት ቀን የመጾም ልማድ ነበረው፤ የጐዳው ግን ጾሙ ሳይሆን በጾሙ ቀራጩን መናቁ ነው። በጎ ልማዱ ወንድሙን የሚመዝንበት ሚዛን የሆነበት ሰው፥ መድኀኒቱን መርዝ አድርጎታል። እንግዲህ ልማዳችን ከእግዚአብሔር መሆኑን የምናውቅበት ምልክት ይህ ነው፤ እየጸናን በሄድን መጠን ለደካማው የምንራራ ሆነን እንደ ሆነ ነው።

ከዚህ ቀጥሎ ስለ ተስፋ እንናገር። አንዳንዶች መልካም ተስፋ ማለት የሚያሳዝነውን ነገር እንዳላዩ ሆኖ መሳቅ ይመስላቸዋል። ይህ ተስፋ አይደለም፤ ዐይንን መጨፈን ነው። ጻድቁ ኢዮብ አለቀሰ፥ የተወለደባትንም ቀን ረገመ፤ ነገር ግን ፊቱን ከእግዚአብሔር አላዞረም። በጌታችን ሕማም ጊዜ ሁለት ደቀ መዛሙርት ወደቁ፤ ይሁዳ ሸጠው፥ ጴጥሮስም ካደው። ሁለቱም ተጸጽተዋል። ይሁዳ ግን በጸጸቱ ላይ ቀቢጸ ተስፋን ጨምሮ ጠፋ፤ ጴጥሮስ በጸጸቱ ላይ እንባን ጨምሮ ተመለሰ፥ በጎችንም እንዲጠብቅ ተሾመ። የለያያቸው የበደላቸው ማነስና መብዛት ብቻ አይደለም፤ ከወደቁ በኋላ ፊታቸውን ያዞሩበት አቅጣጫ ነው። ስለዚህ ተስፋ ከወደቁበት ተነሥቶ ወደ ጌታ የመመለስ ልማድ ነው ልንል እንችላለን። በታናሹ ውድቀት መነሣትን ያልለመደ ሰው፥ ታላቁ ውድቀት በመጣ ጊዜ መንገዱ ይጠፋበታል።

የመነኰሳት አባት አባ እንጦንስ በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ356 ዓ.ም. እንዳረፈ ይታወቃል። እርሱ በበረሓ ሳለ ኀዘንና የአሳብ ብዛት ከብዶበት መዳኛውን እንዲያሳየው እግዚአብሔርን ለመነ። ያን ጊዜ እርሱን የሚመስል አንድ ሰው ተቀምጦ ገመድ ሲታታ፥ ተነሥቶ ሲጸልይ፥ ተመልሶም ሲሠራ አየ፤ ይህም ያስተምረው ዘንድ የተላከ መልአክ ነበር። እንግዲህ ለዚያ ታላቅ አባት የተሰጠው መድኀኒት የሥራና የጸሎት ሥርዓት መሆኑን እናስተውል። ኀዘኑ እስኪያልፍ ድረስ እንዲጠብቅ አልተነገረውም፤ በኀዘኑ ውስጥ እጁን ለሥራ ጉልበቱንም ለጸሎት እንዲያነሣ ተማረ እንጂ። ነገር ግን እንቅልፍ የሚነሣ፥ ምግብ የሚያስጠላ፥ ሕይወትንም የሚያስጠላ የጸና ኀዘን ደዌ ሊሆን ይችላልና፥ እንዲህ ያለውን ሰው «እምነትህ ጐድሎ ነው» ብሎ መውቀስ አይገባም። ወንጌልን የጻፈልን ሉቃስ ሐኪም ነበረ፤ ጸሎትና ጠበል ከሐኪም እጅ ጋር አይጣሉም።

በመጨረሻ በሥራ ላይ የሚውል ጥቂት ምክር እንጨምር። ሊጀምር የሚወድ ሰው አንዲት ትንሽ ነገር ይምረጥ፤ ማልዶ ተነሥቶ አንድ መዝሙር መድገም፥ ከመብል በፊት ማመስገን፥ በሳምንት አንድ ቀን በሽተኛ መጠየቅ የመሰለችውን። ሰዓቷን ይወስን። ወይፈኑ ከቀናው በሬ ጋር እንደሚጠመድ እርሱም ከበረታ ወንድም ጋር ይሁን፤ ለነፍስ አባቱም ይንገር። ክፉ ልማድን ሲተው በስፍራው በጎውን ይትከል፤ ተጠርጎ ባዶ የቀረ ቤት ከፊተኛው የከፉ እንግዶችን እንደሚጠራ ጌታችን አስተምሮናልና። ማታም ኀጢአቱን ሲቈጥር በዕለቱ የተቀበለውን ቸርነት ደግሞ ይቍጠር፤ ዕዳውን ብቻ የሚቈጥር ሰው የአበዳሪውን ርኅራኄ ይረሳልና። አንድ ቀን ቢያጓድል እስከ ሚመጣው ጾም ወይም እስከ ዐዲሱ ዓመት አይቆይ፤ በሚቀጥለው ሰዓት ይነሣ። እናንተም የነፍስ አባቶች ሆይ፥ ለጀማሪው ቀኖና ስትሰጡ የሚችለውን ስጡት፤ ከባዱን ተሸክሞ በሦስተኛው ቀን ከሚጥል፥ ቀላሉን ተሸክሞ ዓመቱን የሚዘልቅ ይሻላልና።

በሽምግልና ዘመን አእምሮ ሲደክም ሰው ብዙ ነገር ይረሳል፤ የልጆቹን ስም እንኳ የሚያጠፋ አለ። እንዲህ ካሉት አረጋውያን መካከል ግን ካህኑ በአጠገባቸው «አቡነ ዘበሰማያት» ሲጀምር አብረው የሚያደርሱ ይገኛሉ። በወጣትነታቸው ያን ጸሎት ባልተሰበሰበ ልብ የደገሙበት ቀን ብዙ እንደ ሆነ አያጠራጥርም። ነገር ግን አላቋረጡትምና፥ እነርሱ ሊይዙት በማይችሉበት ቀን እርሱ እነርሱን ይዟቸው ተገኘ። «በልማድ የሚደረግ ጸሎት ምን ይጠቅማል?» ለሚለው ከዚህ የበለጠ መልስ የለንም። ዛሬ በጎውን ልማድ በትዕግሥት ስናጠጣ፥ ኀይላችን ሲያልቅ የምንደገፍበትን በትር እየተከልን ነው። የሚያለመልመው እርሱ ነው፤ እኛ ግን ውኃውን መቅዳት አንተው።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።