ሁለቱን ተወግቶ መቅረት

እሁድ ሰንበቴ ገበያ ላይ የማይገናኝ ሰው የለም። አፋሩ ግመሉንና ፍየሉን እየነዳ ከቆላ ይመጣል፣ አማራው እህሉን ጭኖ ከደጋ ይወርዳል፣ አርጎባው የሸመነውን፣ ኦሮሞው ከብቱንና ቅቤውን ይዞ ይወጣል። ከዚያ ሁሉ ገበያተኛ መካከል ስለ መንጋጋ ቆልፍ ክትባት ጨርሶ ያልሰማች እናት ማግኘት የሚቀል አይመስለኝም። አብዛኞቹ «የእርጉዝ መርፌ» ይሉታል። መስማቱ ጥሩ ነው። ነገር ግን የእርጉዝ ብቻ ተደርጎ ስለሚታሰብ ያላረገዘችው አትፈልገውም፣ የወለደችውም ትረሳዋለች። ዛሬ ልመክራችሁ የተነሳሁት በዚህ ነው።

እህቶቼ፣ ክትባቱ ከ15 እስከ 49 ዓመት ላለች ሴት ሁሉ ነው፤ አገባችም አላገባች፣ ወለደችም አልወለደች። የሚወሰደውም አምስት ጊዜ ነው። የመጀመሪያው ሰውነትን ያነቃል እንጂ ብቻውን የሚታመን ጥበቃ አይሰጥም። ቢያንስ ከአራት ሳምንት በኋላ የሚሰጠው ሁለተኛው ለ3 ዓመት ያህል ይጠብቃል። ከዚያ ስድስት ወር ቆይቶ የሚወሰደው ሦስተኛው ለ5 ዓመት፣ ከዓመት በኋላ አራተኛው ለ10 ዓመት፣ ሌላ ዓመት ተቆጥሮ አምስተኛው ደግሞ የመውለጃውን ዘመን በሙሉ ይሸፍናል። ሁሉም በወቅቱ ቢወሰድ ከሁለት ዓመት ከሰባት ወር የማይበልጥ ነገር ነው።

በተግባር የሚሆነው ግን ሌላ ነው። ሴቲቱ ስታረግዝ ሁለቱን ትወጋለች፣ ትወልዳለች፣ አራስነቱና የቤቱ ሥራ ይይዛታል። ሦስተኛውን አስታውሶ የሚጠራት የለም፣ እሷም አትጠይቅም። አራት ዓመት ቆይታ ሁለተኛ ልጇን ስታረግዝ «ክትባት ወስደሻል?» ብትባል «ወስጃለሁ» ትላለች። አልዋሸችም። ያ የወሰደችው ግን ጊዜው አልፎበታል።

«እኔ በልጅነቴ ተከትቤያለሁ» የምትሉ ወጣቶችም አላችሁ። መንጋጋ ቆልፍንም የሚከላከለው፣ ፔንታ የሚባለው የሕፃናት ክትባት አገራችን የገባው በ1999 ዓ.ም. ነው፤ ከዚያ በፊትም የሕፃናት ክትባት ነበረ። በፔንታው መጀመሪያ ዓመታት የተወለዱት ሴቶች ዛሬ ለአቅመ ሔዋን ደርሰዋል። የሕፃንነቱ ክትባት ከዓመታት ጋር እየደከመ ስለሚሄድ በእሱ ብቻ ተማምኖ ትዳር መግባት አይበቃም። እንዲያውም አምስቱን ለመጀመር ከሁሉ የሚሻለው ጊዜ ይኸው ነው፦ ተማሪ ሳሉ፣ ሳያገቡ፣ ሳያረግዙ።

በሽታውን ከዚህ አካባቢ አጥርቶ ማስወጣት አይቻልም። የመንጋጋ ቆልፍ ባክቴሪያ በከብት፣ በፈረስና በበግ አንጀት ውስጥ ይኖራል፤ ከእበትና ከፋንድያ ጋር ይወጣና ዘሩ አፈር ውስጥ ለዓመታት ሳይሞት ይቀመጣል። የቦርከና ወንዝ የሚያጠጣውን የጨፋን ሜዳ አስቡት፤ በበጋ የአፋር ከብት ሳይቀር የሚሰማራው እዚያ ነው። የከብት አገር ነን፣ ከከብትም አንለይም። ምላጭ መቀቀል ጥሩ ልማድ ነው፣ አትተዉት፤ ዘሩ ግን የፈላ ውሃን ተቋቁሞ ሊተርፍ ይችላል። ደግሞም በሽታው ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። ኩፍኝ ሲሆን የጎረቤት ልጅ መከተቡ ለእኔም ልጅ ይተርፋል። እዚህ ላይ ግን የጎረቤቴ ክትባት ለእኔ አንዳች አይፈይደኝም፤ ያልተከተበ ሁሉ ብቻውን ነው።

በሽታው ሕፃኑን የሚይዘው በእትብቱ በኩል ነው። የቆሸሸ ምላጭ ወይም ቢላዋ፣ እትብት ላይ የሚቀባ ቅቤ ወይም እበት መግቢያ ይሆኑታል። ልጁ ሲወለድ ደህና ነው፤ ያለቅሳል፣ ይጠባል። ሦስተኛው ቀን ካለፈ በኋላ፣ ብዙ ጊዜ ሳምንት ሲሞላው፣ ጡት መያዝ ያቅተዋል። አፉ ይገጥማል፣ ሰውነቱ ይደርቃል፣ ሲነኩትና ድምፅ ሲሰማ ይንቀጠቀጣል። በዚህ ጊዜ ቤተሰቡ ጂን ነው፣ ቡዳ ነው ብሎ ወዲያና ወዲህ ሲል ሰዓቱ ያልፋል። ሕክምና ካላገኘ የሚተርፍ የለም ማለት ይቻላል፤ ሆስፒታል ደርሰውም የሚሞቱ ብዙ ናቸው። እንዲህ ያለ ምልክት ያየ ሁሉ ሌላ ሳይሞክር ልጁን ይዞ ወደ ጤና ተቋም ይሩጥ። የእናቲቱ ክትባት ግን ቀድሞ ይደርሳል፤ በሰውነቷ የተሠራው መከላከያ በእንግዴ ልጁ አልፎ ወደ ፅንሱ ይገባል፣ ሕፃኑም ተጠብቆ ይወለዳል። ለዚህም የመጨረሻው መርፌ ከመውለዷ ቢያንስ ሁለት ሳምንት በፊት መወሰድ አለበት። ጤና ጣቢያ መውለድና እትብቱን ባለሙያ ካላዘዘ በቀር ምንም ሳይቀቡ ደረቅ አድርጎ መተው ከክትባቱ ጋር አብረው የሚሄዱ ናቸው።

ይህ ምክር ፍሬ እንዳለው ዓለም አይቶታል። እ.ኤ.አ. በ1988 በዓለም 787,000 ያህል አራስ ሕፃናት በዚህ በሽታ ሞተው እንደነበር ይገመታል። እ.ኤ.አ. በ2018 ቁጥሩ ወደ 25,000 ወርዷል። ኢትዮጵያም እ.ኤ.አ. በ2017 የእናቶችና የአራስ ሕፃናት መንጋጋ ቆልፍን እንዳስወገደች ተመስክሮላታል። ምስክርነቱ ግን ከ1,000 ሕያው ወሊድ የሚታመመው ከአንድ በታች ሆነ ማለት ነው፤ በሽታው ከምድር ጠፋ ማለት አይደለም። በ2008 ዓ.ም. በተደረገው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ በመጨረሻ ወሊዳቸው ልጃቸው ከዚህ በሽታ የተጠበቀላቸው እናቶች ከመቶ 49 ብቻ ነበሩ።

አሁን በሹክሹክታ ወደሚባለው ልምጣ። «ማህፀን ያደርቃል፣ የወሊድ መከላከያ ነው» ይባላል። ወሬው የእኛ ብቻ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ2014 በኬንያ የካቶሊክ ጳጳሳት ሳይቀሩ ይህንኑ ተናግረው አገሪቱ ታምሳ ነበር፣ የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍም ክትባቱ አስተማማኝ መሆኑን ገልጸው መልስ ሰጥተውበታል። የጠየቀችን ሴት መሃይም ናት ብሎ መሳቅ ግን አልወድም። «መንጋጋ ቆልፍ ወንዱንም የሚገድል ከሆነ ለምን ሴቷን ብቻ ትፈልጋላችሁ?» ብትል ጥያቄዋ ተገቢ ነው፣ መልስም ይገባታል። ሴቷ የተመረጠችው አንድ መርፌ ሁለት ነፍስ ስለሚያድን ነው፤ ሕፃኑን ገና ሳይወለድ የሚያስከትበው ሌላ መንገድ የለም። ወንዱስ አያስፈልገውም ወይ ብትሉ ያስፈልገዋል፤ ማጭድ የቆረጠው፣ እሾህ የወጋው ገበሬ ቁስሉን ይዞ ጤና ጣቢያ መሄድ አለበት። ስለ ማህፀኑ ደግሞ መጽሐፍ ማገላበጥ አያሻም። በአገራችን የክትባት ፕሮግራም ከተጀመረ ከ1972 ዓ.ም. ወዲህ ስንት እናት ተከትባ ስንት ልጅ ወለደች? በየቀበሌያችሁ ጠይቁ። ከመርፌው በኋላ ክንድ ሊያብጥ፣ ትንሽ ሊያተኩስ ይችላል፤ በአንድ ሁለት ቀን ያልፋል።

ባሎችና አማቶች፣ ይህ ለእናንተም ነው። ሴቲቱ ብታውቅም ብትፈልግም ከቤት ለመውጣት ፈቃድ፣ ለመሄጃም የሚያደርሳት ሰው ትሻለች። «እኛ ያለ መርፌ ወልደን አሳድገናል» የምትሉ እናቶች፣ ያሳደጋችሁትን ስትቆጥሩ የቀበራችሁትንም ቁጠሩ። ኢማሞቻችንና ሼሆቻችን ከጁምዓ ሶላት በኋላ በዚህ ላይ ሁለት ቃል ቢናገሩ ከብዙ ፖስተር ይልቃል። ሲናገሩም እርጉዞቹን ብቻ ሳይሆን ሴት ልጅ ያለውን አባት ሁሉ ያስቡ።

ለጤና ባለሙያዎችና ለወረዳ ኃላፊዎችም አንድ ነገር አለኝ። የመንግሥት መደበኛ ሥራ የሚያርፈው እሁድ ነው፣ ሰንበቴ የምትሞላውም እሁድ ነው። ቅቤ ልትሸጥ ከሩቅ የመጣች እናት ለአንድ መርፌ ብላ ማክሰኞ ተመልሳ ትመጣለች ብሎ መጠበቅ አይሆንም። በገበያው ዳር አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ የበረዶ ሳጥንና በኦሮምኛም በአማርኛም የምታስረዳ ባለሙያ ቢቀመጡ አራተኛና አምስተኛ መርፌ የቀራቸው ስንቶች ይገኙ ነበር!

ስለ ካርዱ ልንገራችሁ። በ2013 ዓ.ም. በአጣዬና በአካባቢያችን በደረሰው ግጭት፣ በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያም የሰሜኑ ጦርነት ከሚሴ ሲደርስ ከቤቱ የወጣ ብዙ ነው። ልብስ ያላወጣ ካርድ አያወጣም። ካርዴ ጠፋ ብላችሁ ግን አትቅሩ። ስንት ጊዜ እንደተወጋችሁ፣ በየትኛው እርግዝና እንደነበረ ለባለሙያዋ ንገሯት፣ መዝገቡም ይታይ፤ ምንም ካልተገኘ እሷ ያለችውን ተከተሉ። ቀጠሮ ያለፈባችሁም አትፈሩ። በሁለተኛው ላይ ያቆመች ሴት ዓመታት ቢያልፉም ከአንድ አትጀምርም፤ ስትሄድ የምትወስደው ሦስተኛውን ነው።