በጥር የሚያፈስ ጣሪያ የለም

 

የዛሬው ማስታወሻችን ስለ ቤት ነው። ስለ ጀነት ቤት አይደለም፤ እሱን ኢንሻአላህ ኹጥባው ላይ ትሰማላችሁ። የምናወራው ስለ ጭቃና ቆርቆሮ ቤት ነው። እዚሁ ቤሌ ውስጥ ስለሚሸጠው፣ ስለሚገዛውና ደላላ አፉን ሞልቶ ስለሚያሞግሰው ቤት።

ጥያቄዬ ይህ ነው። ዲናችን የሰውን ነውር ሸፍኑ ይለናል። የወንድሙን ነውር የሸፈነ ሰው አላህ በቂያማ ቀን የእሱን ነውር እንደሚሸፍንለት ከልጅነታችን ጀምሮ ተምረናል። ታዲያ ቤቱን የሚሸጥ ሰው የቤቱን ነውር ቢሸፍን ምን አለበት? መሸፈን መልካም ከሆነ፣ ስለሚያፈሰው ጣሪያ ዝም ማለት ለምን ወንጀል ይሆናል?

መልሱን ከመፈለጋችን በፊት እስቲ ቤቱን እንጎብኝ።

ባለ ሦስት ክፍል ጭቃ ቤት ነው። ምሰሶው ባሕር ዛፍ፣ ክዳኑ ቆርቆሮ፣ ግድግዳው ገና ትናንት ኖራ የተቀባ፣ ጓሮው እንሰት። ደላላው ከፊት ከፊት እየሄደ ይተረጉምላችኋል። የደላላ ቋንቋ ደግሞ የራሱ መዝገበ ቃላት አለው። «ፀጥ ያለ ሰፈር ነው» ካለ ባጃጅ አይደርስም ማለት ነው። «ለዋናው መንገድ ቅርብ ነው» ካለ አቧራውም፣ የአይሱዙው ጥሩምባም ከነሌሊቱ የእናንተ ነው። «ትንሽ እድሳት ቢደረግለት» ካለ አፍርሳችሁ ሥሩት ማለት ነው። «ውሃ አለው ወይ?» ስትሉት «ቧንቧ አለው» ይላችኋል። ልብ በሉ፣ አልዋሸም። እናንተ የጠየቃችሁት ስለ ውሃ ነው፣ እሱ የመለሰው ስለ ቧንቧ ነው።

ሁሉንም ደላላ እየሰደብኩ አይደለም። ድለላ ሐላል ሥራ ነው፤ በሐቅ የሚሠሩትን አላህ ይባርክላቸው። ግን ሳቃችን ራሱ አንድ ነገር ይነግረናል። ሁላችንም ይህን መዝገበ ቃላት በደንብ እናውቀዋለን ማለት ነው።

ወደ ቤቱ እንመለስ። ወሩ ጥር ነው። ሰማዩ ጥርት ብሏል። ገዢው ቀና ብሎ ጣሪያውን ያያል፤ ደረቅ ነው። በጥር የሚያፈስ ጣሪያ የለም! በልግ ሲገባ ግን ጣሪያው አፍ ያወጣል። አንድ ባልዲ ሳሎን፣ አንድ ድስት መኝታ ቤት ይቀመጥለታል። ክረምት ሲመጣ ደግሞ ድስት ከጎረቤት መዋስ ይጀመራል። ያ አዲስ ኖራ ሲላጥ ምስጥ የበላው ምሰሶ ብቅ ይላል። ሻጩ ይህን ሁሉ ያውቅ ነበር። ስንት ክረምት ባልዲ ሲያስቀምጥ ኖሯልና።

ቤት ከሌላ ዕቃ የሚለየው እዚህ ላይ ነው። በግን ጥርሷን ገልጠህ፣ ላቷን ዳብሰህ ትገዛለህ። ቤትን ግን ኖሮበት ያየ እንጂ ቆሞ ያየ አያውቀውም። የቤት እውቀት ያለው ሻጩ ዘንድ ብቻ ነው። ስለዚህ ያ እውቀት በእጁ ያለ አማና ነው።

አሁን አንድ ሌላ ነገር አስቡ። ቤት ሲሸጥ የሚሸጠው ምንድን ነው? በአገራችን የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት በአዋጅ ቁጥር 47/1967 የመንግሥት ሆነ። በ1987 የጸደቀው ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ እንደሆነ፣ እንደማይሸጥና እንደማይለወጥ ደነገገ። ሰው በመሬቱ ላይ በጉልበቱና በገንዘቡ የሠራው ግን የራሱ ነው፤ ይሸጠዋል፣ ያወርሰዋል። እርግጥ ነው፣ ዋጋው ቦታ ቦታ እንደሚያይ ሁላችንም እናውቃለን። ሶዶ መናኸሪያ አጠገብ ያለ ጭቃ ቤትና ቤሌ ዳር ያለ ጭቃ ቤት ዋጋቸው ለምን ተለያየ ብላችሁ ደላላውን ብትጠይቁት፣ «ጭቃው ይለያያል» ይላችኋል።

ሕጉን ትወዱትም አትውደዱት፣ ለእኛ ጥያቄ ጥሩ መብራት ነው። ውሉ ላይ የሚጻፈው የቤት ሽያጭ ነው። መሬቱ ካልተሸጠ፣ የተሸጠው ግድግዳ፣ ምሰሶና ጣሪያ ነው። ግድግዳውን በኖራ፣ ምሰሶውን በጭቃ፣ ጣሪያውን በጥር ሰማይ ሸፍነህ ከሸጥክ፣ ወንድሜ፣ ታዲያ ምን ሸጥክ?

ወደ ጥያቄያችን እንምጣ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በገበያ ሲያልፉ አንድ የእህል ክምር አጋጠማቸው። እጃቸውን ወደ ውስጥ ሲያስገቡ ጣቶቻቸው እርጥበት ነካቸው። ባለቤቱን ምንድን ነው ብለው ጠየቁት። ዝናብ አግኝቶት እንደሆነ ነገራቸው። እርሳቸውም ሰዎች እንዲያዩት እርጥቡን ለምን ከላይ እንዳላደረገው ጠይቀውት፣ የሚያታልል ሰው ከእርሳቸው ወገን እንዳልሆነ ነገሩት። ሐዲሱ ሙስሊም ዘግበውታል።

ሰውየው ዝናቡን አላዘነበውም። እህሉ መርጠቡም ወንጀል አልነበረም። እርጥብ እህል መሸጥም አልተከለከለም። የተከለከለው ደረቁን ከላይ ማድረግ ነው። የሚያፈስ ቤት መሸጥም እንዲሁ ሐላል ነው። ችግሩ ማፍሰሱን መደበቁ ላይ ነው።

እንግዲህ ልዩነቱ እዚህ ነው። የሰውን ነውር ስትገልጥ ሰውየው ይጎዳል፣ የሚጠቀም የለም። የዕቃህን ነውር ስትደብቅ ደግሞ ሌላው ሰው ይጎዳል፣ የምትጠቀመው አንተ ነህ። የመጀመሪያው መሸፈን ለሌላ ሰው ብለህ ዝም ማለት ነው። ሁለተኛው መሸፈን ለኪስህ ብለህ ዝም ማለት ነው። ሁለቱም ዝምታ ናቸው፤ ግን መንታ አይደሉም።

ይህን ከያዛችሁ የቀሩት ጥያቄዎች ይቀላሉ። ቤቱን የምትሸጠው በዕዳ ምክንያት ነው? በፍቺ ነው? ገዢው ቢጠይቅህም የመናገር ግዴታ የለብህም። ያ የአንተ ገመና ነው፣ ጣሪያውን አያስፈስሰውም። ከወንድም ከእህት ጋር ያልተከፋፈላችሁት የውርስ ቤት ነው? ካርታው ላይ ክርክር አለ? ይህንን ግን መናገር ግድ ነው። ነገ ፍርድ ቤት የሚንከራተተው ገዢው ነውና።

«ጎረቤቱስ እንዴት ነው?» ቢልህስ? ይህች ከባድ ናት። ኢማም አን-ነወዊ በ«ሪያዱስ ሷሊሒን» ሐሜት የሚፈቀድባቸውን ጥቂት ቦታዎች ሲዘረዝሩ፣ አንድ ሰው ሊጋባው፣ ሊሸርከው ወይም ሊጎራበተው ስላሰበው ሰው ሲያማክር እውነቱን መንገርን አንስተዋል። ግን በልክ ነው። «ማታ ማታ ሙዚቃ ከፍ ያደርጋሉ» ማለት ይበቃል። የጎረቤቱን የሃያ ዓመት ታሪክ ከነአያቶቹ መዘርገፍ ምክር መሆኑ ቀርቶ ቡና ላይ የሚወራ ሐሜት ይሆናል።

አሁን አንዳንዶቻችሁ የምትሉትን እሰማለሁ። «ኡስታዝ፣ ይህ ለመጻፍ ጥሩ ነው። ገበያው ግን እንዲህ አይሠራም። ገዢው ሁሉም ሻጭ ይዋሻል ብሎ አስቀድሞ ዋጋ ቀንሶ ነው የሚመጣው። እኔ እውነቱን ስነግረው ደግሞ ሌላ ይቀንሳል። ሐቀኛው ሁለት ጊዜ ይከስራል።»

ይህ ቀልድ አይደለም፣ እውነተኛ መከራከሪያ ነው። ለሦስት ልጆች ትምህርት ቤቱን የሚሸጥ አባት የዚያ ልዩነት ብር ያመዋል። «በረካ አለው» ብለን ብቻ ልናሰናብተው አንችልም። በረካ እንዳለው ግን ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ነግረውናል። ሻጭና ገዢ እውነት ተናግረው ነውሩን ከገለጡ ግብይታቸው ይባረካል፤ ከደበቁና ከዋሹ የግብይታቸው በረካ ይጠፋል። ሐዲሱ በቡኻሪና በሙስሊም የተዘገበ ነው።

በተግባርም መንገድ አለ። ከመሸጥህ በፊት የተበሳውን ቆርቆሮ ቀይር። ካልቻልክ «ሁለት ቆርቆሮ ያስፈልገዋል፣ ዋጋውን ቀንሼልሃለሁ» በል። ስሙን የያዘ ነውር ዋጋውም ይታወቃል። ገዢ ዋጋውን በብዛት የሚሰብረው የማያውቀውን ስለሚፈራ ነው። ደግሞም ቤሌ አዲስ አበባ አይደለችም። የሸጥክለት ሰው ገበያ ላይ፣ ለቅሶ ላይ፣ ሠርግ ላይ ያገኝሃል። እውነተኛ ሻጭ የሚባል ስም በአንድ ሽያጭ አይገኝም፤ በአንድ ሽያጭ ግን ይጠፋል።

ይህም ሆኖ ልትከስር ትችላለህ። አልዋሽህም። ሐቅ ሁልጊዜ በዱንያ ትርፍ የሚከፍል ቢሆን ኖሮ ሁሉም ነጋዴ ወሊይ ይሆን ነበር። በዚያ የጎደለ ብር ግን የሌላ ሰው ልጆች በደረቅ ፍራሽ ያድራሉ። ያንን የሚጽፉ መላእክት አሉ።

አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። እኛ በወላይታ ጥቂቶች ነን። ቤትህን የሚገዛህ ሰው ብዙውን ጊዜ ክርስቲያን ጎረቤትህ ነው። «ለሙስሊም ወንድሜ እንጂ ለሌላው...» የሚል ሐሳብ በልብህ ሽው ካለ፣ ሸይጧን ደላላ ሆኖ መጥቷል ማለት ነው። ሱረቱል ሙጠፊፊን በስፍርና በሚዛን ለሚያጎድሉ ስታስጠነቅቅ፣ የገዢውን ሃይማኖት አልጠየቀችም። ነውር መንገር የገዢው ሐቅ ነው፣ ገዢው ማንም ይሁን።

ሻጩን ብቻ አናሸማቅ። ገዢም ውሸት አለው። ሻጭ ያለውን ነውር ሲደብቅ፣ ገዢ የሌለ ነውር ይፈጥራል። ልቡ በቤቱ ወድቆ «ይሄ ምን ቤት ነው፣ ለበግ ማደሪያ እንኳ...» ይላል። ሻጩ ታሞ ወይም ዕዳ አስጨንቆት እንደሆነ ሲሰማ ደግሞ ዓይኑ ይበራል። ለገዢዎች ከእኛ በፊት ስለነበሩ ሁለት ሰዎች ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) የነገሩንን ልንገራችሁ።

አንዱ ከሌላው መሬት ገዛ። መሬቱ ውስጥ ወርቅ የሞላበት እንስራ አገኘ። ወደ ሻጩ ሄዶ «መሬት እንጂ ወርቅ አልገዛሁህም፣ ወርቅህን ውሰድ» አለው። ሻጩም «መሬቱን ከነውስጡ ነው የሸጥኩልህ» ብሎ እምቢ አለ። ተካሰሱ! ዳኛው ልጆች እንዳሏቸው ጠየቃቸው። አንዱ ወንድ ልጅ፣ ሌላው ሴት ልጅ ነበረው። ልጆቹን አጋቡ፣ ከወርቁ ለእነሱ አውጡ፣ ሰደቃም ስጡ ብሎ ፈረደ። እስቲ አስቡት፣ በእኛ ፍርድ ቤቶች ስንት የቤትና የቦታ ክስ አለ? «ይህ ሀብት የእኔ አይደለም፣ የእሱ ነው» የሚል አንድ መዝገብ ብናገኝ ዳኛው ራሱ ሻይ ይጋብዘን ነበር።

ሰሐቦችም ዘንድ ቤት ተሽጧል። አቡ ራፊዕ (ረ.ዐ.) በሰዕድ ኢብን አቢ ወቃስ (ረ.ዐ.) ግቢ ውስጥ ሁለት ቤቶች ነበሩት። ሰዕድን ግዛኝ አለው። ሰዕድ ከ4000 ዲርሃም በላይ አልከፍልም፣ እሱንም በየጊዜው ከፋፍዬ ነው አለ። አቡ ራፊዕ ከሌላ ሰው 500 ዲናር ተሰጥቶት ነበር፤ ያ ደግሞ ይበልጣል። ነገር ግን ጎረቤት በቅርበቱ ምክንያት ቅድሚያ እንዳለው ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ሰምቶ ስለነበር ለጎረቤቱ ሸጠ። በቅናሽ! በዱቤ! የእኛ ደላላ ቢሰማ ሦስት ቀን ይታመም ነበር።

«እኛ ገና ተማሪዎች ነን፣ የምንሸጠው ቤት የለንም» የምትሉ እህቶችና ወንድሞች፣ ስልክ አላችሁ። ስልክ ስትሸጡ «ቻርጁ እስከ ማታ ይቆያል» ትላላችሁ፤ ከጧቱ አራት ሰዓት ላይ እንደሚሞት እያወቃችሁ። ብልጭ ድርግም የሚለውን ስክሪን ገዢው እስኪከፍል ድረስ በጣታችሁ ትሸፍናላችሁ። ቤት ሻጭ በአንድ ቀን አይወለድም። ዛሬ በስልክ ላይ የለመደ እጅ ነገ በኖራ ይቀጥላል። ዛሬ «ባትሪው ደክሟል፣ ለዚህ ነው በዚህ ዋጋ የምሸጥልህ» ያለች ምላስ፣ ነገ «ጣሪያው ያፈሳል» ለማለት አትከብዳትም።

ለሚሸጥ ሰው ሁሉ አንዲት ቀላል መለኪያ ልስጣችሁ። አገራችን አዲስ ቤት የገባን ሰው «ቤት ለእምቦሳ» ብላ ትመርቃለች፤ ባለቤቱም «እምቦሳ እሰሩ» ብሎ ይመልሳል። በወላይታ ባህላዊ ቤት ከብቱ ከሰው ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር የሚያድር ስለሆነ፣ ምርቃቱ እውነተኛ ጥጃም ያስባል። እንግዲህ ቤትህን ስትሸጥ ራስህን ጠይቅ፦ ሐምሌ ላይ፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው፣ ወደዚያ ቤት ሄጄ «ቤት ለእምቦሳ» ብዬ፣ ተቀምጬ ቡና መጠጣት እችላለሁ? ጣሪያውን ቀና ብዬ ሳላይ? ከቻልክ በሐቅ ሸጠሃል። ሰፈሩን ዞረህ በሌላ መንገድ የምታልፍ ከሆነ ግን፣ ገንዘቡ በእጅህ እያለ ሄደህ ውሉን አስተካክል። ያፈሰሰውን ተካ፣ ይቅርታ ጠይቅ፤ ቂያማ ሳይመጣ በዱንያ መጨረስ ይሻላል።

አላህ ቤት የሌለንን ቤት ይስጠን፣ ያለንን በረካ ያድርግልን፣ ገመናችንን ይሸፍንልን፣ በንግዳችን እውነተኞች ያድርገን። ኣሚን።

ሱረቱል ከህፍን እንዳትረሱ፣ በነቢዩ ላይ ሰለዋት አብዙ። ጥር ስለሆነ ደግሞ ጣሪያችሁን አሁኑኑ አሠሩ።