ልብን ስለ መጠበቅ

ሰው ከሰባት ባሕርያት የተፈጠረ መሆኑን አበው ያስተምሩናል። አራቱ የሥጋ ባሕርያት መሬት፣ ውኃ፣ ነፋስና እሳት ናቸው፤ ሦስቱ የነፍስ ባሕርያትም ልባዊነት፣ ነባቢነትና ሕያውነት ናቸው። እነዚህ በአንድ ሰው ተዋሕደው ስለሚኖሩ አንዱ ሲጎዳ ሌላው ሳይነካ አይቀርም። ሥጋ እንቅልፍ ሲያጣ ልብ ይዝላል፤ ልብ ሲጨነቅም መብል አይጣፍጥም፣ ጸሎትም ከአፍ አልፎ ወደ ውስጥ አይገባም።

በዚህ ዘመን የልብ ጭንቀት ምክንያቱ ብዙ ነው። ነጋዴው ስለ ዋጋ፣ ሠራተኛው ስለ አለቃው፣ እናት ስለ ልጆቿ ሲያስቡ ቀኑ ያልፋል። ካህኑም ሌሊቱን በማሕሌት አሳልፎ፣ ቀድሶ ሲወጣ ፍትሐት የሚፈልግ፣ ዕርቅ የሚለምን፣ ንስሐ የሚናገር ቆሞ ይጠብቀዋል። የእጅ ስልክ ከመጣ ወዲህ ደግሞ ጠሪው በር አያንኳኳም፤ ከትራስ ሥር ይጣራል። እንግዲህ የምንመረምረው ጥያቄ ይህ ነው፤ ረዳት የሚሻ ሰው ባልጠፋበት ዓለም ክርስቲያን ለገዛ ልቡ ዕረፍትን መፈለጉ ተገቢ ነውን? ወይስ ስንፍናና ራስን መውደድ ነው?

ብዙ ሰው መልሱን ከማርታና ከማርያም ታሪክ ያወጣል (ሉቃ. 10፥38-42)። ይሁን እንጂ ጌታችን ማርታን የገሠጻት ስለ ማገልገሏ አለመሆኑን ልናስተውል ይገባናል። እንግዳ መቀበል የአብርሃም ሥራ ነውና አይነቀፍም። የተነቀፈው ልቧ በብዙ ነገር መባከኑ ነው። ሥራ ሌላ፣ መባከን ሌላ ነው። የሚሠራ ሰው እጁ ካለበት ልቡም በዚያ አለ፤ የሚባክን ሰው ግን እጁ በአንድ ሥራ ሳለ ልቡ በዐሥር ቦታ ይንከራተታል። ስለዚህም የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንደተባለው አንዱን ሥራ ሁለት ጊዜ ይሠራዋል።

ከዚህ ይልቅ የነቢዩ የኤልያስ ነገር ለጥያቄያችን ይቀርባል (1ኛ ነገ. 19)። ኤልያስ በቀርሜሎስ ተራራ እሳት ከሰማይ ያወረደ ነው። ይሁንና ወዲያው ኤልዛቤልን ፈርቶ ወደ ምድረ በዳ ሸሸ፤ ከክትክታ ዛፍ በታች ተቀምጦም ሞትን ለመነ። ይህን የለመነው እምነት የሌለው ሰው ሳይሆን ለእግዚአብሔር እጅግ የቀና ነቢይ ነው። ታዲያ እግዚአብሔር ምን አደረገለት? አስቀድሞ አልገሠጸውም። ተኛ፤ መልአኩም ዳሰሰውና እንዲበላ ነገረው፤ በራስጌውም እንጎቻና በማሰሮ ውኃ ነበረ። በላ፣ ጠጣ፣ ዳግመኛም ተኛ። መልአኩ ሁለተኛ ቀሰቀሰውና መንገዱ ሩቅ ስለሆነ እንዲበላ አዘዘው። ከዚህ በኋላ 40 ቀን ሄዶ ኮሬብ ሲደርስ ነው እግዚአብሔር በዚህ ምን ታደርጋለህ ብሎ የጠየቀው። እንግዲህ ሥርዓቱን እንመልከት፤ እንቅልፍና እንጀራ ቀደሙ፣ ጥያቄ ተከተለ። ብቻዬን ቀረሁ ላለውም 7,000 ሰዎች መኖራቸው ተነገረው፤ ኤልሳዕም ተጨመረለት። ለዛለ ልብ ከሰማይ የተሰጠው መድኃኒት ዕረፍት፣ መብልና ባልንጀራ ነበረ።

ምናልባት፣ ቅዱሳን ሌሊቱን በትጋት ይቆሙ የለምን? ዕረፍትን ንቀው አይደለምን የበቁት? የሚል ይኖር ይሆናል። መልካም ጥያቄ ነው። ነገር ግን የአበው ትጋት ልክና መምህር ያለው ነው። መነኮሱ የሚጾመውንና የሚሰግደውን በአባቱ ፈቃድ እንጂ በገዛ ግፊቱ አይወስንም። ሰባቱ የጸሎት ጊዜያትም፣ ማለት ነግህ፣ ሠለስት፣ ቀትር፣ ተሰዓት፣ ሠርክ፣ ንዋምና መንፈቀ ሌሊት፣ ቀኑን የሚከፍሉ አጥሮች ናቸው። ከሰባቱም አንዱ በመኝታ ስም መጠራቱን ልብ እንበል፤ መተኛትም በሥርዓተ ጸሎት ውስጥ ስፍራ አለው። ትጋት የተበተነውን ልብ ይሰበስባል፤ ግርግር ግን የተሰበሰበውን ይበትናል። እንግዲህ ሁለቱ እንቅልፍ በማሳጣት ቢመሳሰሉም ፍሬያቸው ለየቅል ነው።

ገበሬ በሬውን ቀኑን ሙሉ ጠምዶ አያውለውም፤ ፈትቶ ያሰማራዋል። ሕጉም በሰንበት በሬና አህያ ጭምር እንዲያርፉ ያዝዛል (ዘጸ. 23፥12)። ሰው ለበሬው ያዘነውን ያህል ለገዛ ልቡ አለማዘኑ ያስደንቃል።

ይህ ነገር ይልቁንም እረኞችን ይመለከታል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 እ.ኤ.አ. ባጸደቀው 11ኛው የበሽታዎች መዘርዝር ሥር በሰደደ የሥራ ጫና የሚመጣን ድካም ገልጾአል። በሽታ ነው ባይለውም ሦስት ምልክቶች ዘርዝሮለታል፤ ኃይል ማለቅ፣ ከሥራው ልብ መራቅና መሰልቸት፣ የሥራው ፍሬ መቀነስ። የንስሐ አባት በዚህ ራሱን ይመርምር። የንስሐ ልጁ ገና ሲናገር ጆሮው ከታከተ፣ የሰው እንባ ካላሳዘነው፣ ይህ ሁልጊዜ የፍቅር ማጣት አይደለም፤ የዕረፍት ማጣትም ሊሆን ይችላል። ዮቶር ሙሴ ከጥዋት እስከ ማታ ብቻውን ሲፈርድ አይቶ፣ አንተም ሕዝቡም ትደክማላችሁ ሲል የሻለቃ፣ የመቶ፣ የአምሳና የዐሥር አለቆች እንዲሾም መከረው (ዘጸ. 18)። ሙሴም ምክሩን ሰማ። ሸክምን ማካፈል ውርደት ቢሆን ኖሮ ታላቁ ነቢይ ባልተቀበለው ነበር።

ድካሙ አልፎ ሕመም የሚሆንበትም ጊዜ አለ። ኀዘኑ ከሁለት ሳምንት በላይ ሳይለቅ ቢሰነብት፣ እንቅልፍና መብል ቢጠፋ፣ ሰውየው የሚወደውን ሁሉ ቢጠላ፣ ይልቁንም ሞትን ቢመኝ፣ ሳይዘገዩ ወደ ሐኪም መውሰድ ይገባል፤ ሞትን የሚመኘውንም ብቻውን መተው አይገባም። እንዲህ ያለውን ሰው እምነት ስለሌለህ ነው ብሎ መገሠጽ በቁስል ላይ ጨው መነስነስ ነው፤ ሳይመረምሩም ርኩስ መንፈስ ነው ብሎ መፍረድ ድፍረት ነው። ሲራክ ሐኪምን እናከብር ዘንድ፣ እርሱን የፈጠረው እግዚአብሔር መሆኑን ያስተምራል (ሲራክ 38፥1-4)። ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስም በ1999 ዓ.ም. ስለ ኤድስ ሕሙማን ጥያቄ በተነሣ ጊዜ፣ ጠበሉም መድኃኒቱም የእግዚአብሔር ስጦታ ስለሆኑ እርስ በርሳቸው እንደማይቃረኑ ለምእመናን አስታውቀዋል። ይህ ትምህርት ለልብ ሕመምም ይስማማል።

እንግዲህ ወደ ጥያቄያችን ስንመለስ መልሱ ግልጽ ነው። ባልንጀራችንን እንደ ራሳችን እንድንወድ ታዘናል፤ መለኪያው ራስ ከሆነ፣ የተሰበረ መለኪያ ለባልንጀራም አይበጅም። ልቡን ሳይጠብቅ ለሁሉ የሚሮጥ ሰው ለወገኑ የሚሰጠው ራሱን ሳይሆን ከራሱ የተረፈውን ነው። ስለዚህ ምእመናን ሆይ፣ ከሠርክ ጸሎት በኋላ ስልካችሁን ከመኝታችሁ አርቁ፤ ማዕድን ከቤተ ሰብ ጋር ያለ ችኮላ ቅረቡ፤ ሰንበትን በሌላ ሥራ አትሙሉት፤ የከበዳችሁን ለንስሐ አባታችሁ ወይም ለታመነ ወዳጅ ሳይከማች ተናገሩ። ካህናትም የደከመ ሰው ሲመጣላችሁ ከተግሣጽ በፊት፣ በልተሃልን? ተኝተሃልን? ብላችሁ ጠይቁ። መልአኩም ኤልያስን በዚህ ጀምሮ አነሣው።

ሐዋርያቱ ከስብከት ደክመው ሲመለሱ ለብቻቸው ወደ ምድረ በዳ ሄደው ጥቂት እንዲያርፉ የጋበዘ ጌታ (ማር. 6፥31) ለእኛም የልብ ዕረፍትን ያድለን። አሜን።