ወሬንና ምስክርን ስለ መመርመር፤ ለዋግ ልጆች የተጻፈ ምክር

ልጆቼ ሆይ፤ በጽጽቃም ሆነ በሰቆጣ፣ በአምደ ወርቅም ሆነ ከአገር ርቃችሁ በስደት፣ ሌሊቱን በስልካችሁ ላይ ስታነብቡና ስትከራከሩ የምታድሩ እናንተ፣ ስለ ዋግ አንድ ነገር በተነገረ ቁጥር ገሚሱ ለማመን ገሚሱ ለመካድ ሲሽቀዳደም የምታዩ እናንተ፣ ይህን ምክር የምጽፍላችሁ ወሬ አትስሙ ለማለት አይደለም፤ ወሬ ሳይሰማ የኖረ ሕዝብ የለምና። የምጽፍላችሁ፣ የአገራችን ረሃብ በአንድ ሰው ዕድሜ ውስጥ ደጋግሞ የተካደ፣ ከተካደም በኋላ ለሌላ ጉዳይ መሣሪያ የተደረገ ስለ ሆነ፣ የምስክርነትን ክብደት ከማንም አስቀድሞ የዋግ ልጅ ሊያውቀው ይገባል ብዬ ስለማምን ነው።

ኦሪት ነገር የሚጸናው በአንድ ሰው ቃል ሳይሆን በሁለትና በሦስት ምስክር መሆኑን እንደ ደነገገች ከካህናቱ ሰምታችኋል። ይህ ሕግ መልካም ሕግ ነው፤ ነገር ግን ብቻውን እንደማይበቃ የሶስና ታሪክ ያስረዳል። በዚያች ንጽሕት ሴት ላይ አመነዘረች ብለው የመሰከሩት ሁለት ነበሩ፤ ሁለቱም ሽማግሎች፣ ሁለቱም ዳኞች፣ ሁለቱም በሕዝብ ዘንድ የተከበሩ ነበሩ፤ ቃላቸውም አንድ ነበረ። ስለዚህ በሕጉ የታዘዘው ቁጥር ተሟልቶ፣ ጉባኤውም አምኖ፣ ሶስና ወደ ሞት ስትወሰድ ብላቴናው ዳንኤል ተነሣ፤ ያደረገውም ሦስተኛ ምስክር መጥራት አልነበረም፤ ሁለቱን አራርቆ አቁሞ፣ አንዱ የሌላውን መልስ ሳይሰማ፣ ከየትኛው ዛፍ ሥር እንዳዩአት እያንዳንዳቸውን መጠየቅ ነበረ እንጂ። አንዱ አንድ ዛፍ ጠራ፣ ሌላውም ሌላ ዛፍ ጠራ፤ በአንዲት አጭር ጥያቄ የሁለቱ ምስክርነት አንድ የተማከረ ሐሰት ሆኖ ተገኘ።

እንግዲህ አንድ ወሬ በመቶ ሰው ገጽ ላይ ተጽፎ ስታገኙት መቶ ምስክር ያገኛችሁ አይምሰላችሁ። መቶው ከአንዱ የቀዱ ከሆነ ምስክሩ አንድ ነው፤ ያ አንዱም በስፍራው ያልነበረ ከሆነ ምስክሩ ከቶ የለም። አራርቆ መጠየቅ ማለት ዛሬ ይህ ነው፤ ቃሉ፣ ነጥቡ፣ የፊደሉ ግድፈት ሳይቀር በሁሉም ዘንድ አንድ ዓይነት መሆኑን አስተውሎ ወደ ኋላ እየተከተሉ አስቀድሞ የጻፈውን መፈለግ፣ ያም ሰው የት እንደ ነበረ፣ በዓይኑ ያየውን ይናገር እንደ ሆነ ወይም የሰማውን፣ ከሰማም ከማን እንደ ሰማ መመርመር፣ ከእርሱ ጋር ያልተማከረና በነገሩም ጥቅም የሌለው ሌላ ሰው ይኸንኑ መናገሩን ማረጋገጥ።

ይህ ሥርዓት ከውጭ የመጣ አይደለም። አባቶቻችን በአውጫጭኝ ሲሰበሰቡ ያየ ያየውን፣ የሰማ የሰማውን እንዲናገር ይጠየቅ ነበረ፤ «አየሁ» ያለና «ሲሉ ሰማሁ» ያለ ቃላቸው በእኩል አይመዘንም ነበር። ከራያ ወዲያ ያሉት አፋሮች ደግሞ ዳጉ የሚሉት የወሬ ልውውጥ አላቸው፤ መንገደኛ ከመንገደኛ ሲገናኝ ጉዳዩ የቱንም ያህል ቢያስቸኩለው ዕቃውን አስቀምጦ ይቀመጥና፣ ስላለፈበት አገር፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ግጦሹ፣ ስለ ሰላሙ ይጠያየቃል፤ ጠያቂውም ያየኸው ነው ወይስ የሰማኸው፣ ከማን፣ መቼ እያለ ይመረምራል። ሐሰት ያቀበለ ሰው ከዚያ በኋላ የሚያምነው ያጣል። በበረሃ የውሃ ስፍራ ተሳስቶ መስማት ሞት ማለት ስለ ሆነ፣ ጥያቄ እንደ ስድብ አይቈጠርባቸውም። እኛ ግን ዛሬ «ማን ነገረህ?» የተባልን እንደ ሆነ ወዳጅነታችን የተካደ ይመስለናል፤ ይህን ጠባይ ከእናንተ እንድታርቁት አጥብቄ እለምናችኋለሁ።

ባለመጠየቅ የሚመጣውን ጥፋት ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በጥቅምት ወር 2011 ዓ.ም. በዚሁ በክልላችን፣ በምዕራብ ጎጃም፣ ለጤና ምርምር ወደ ገጠር የወረዱ ሁለት ተመራማሪዎች ተማሪዎችን ሊመርዙ መጡ የሚል ወሬ ተነዝቶባቸው በተቈጣ ሕዝብ እጅ ተገደሉ። ይህን ያደረገው ሕዝብ ልጆቹን የሚጠላ ሕዝብ አልነበረም፤ እንዲያውም ለልጆቹ ያለው ፍቅርና ስስት የልቡናውን ዓይን ጋረደበት። የታመመው የማን ልጅ ነው? ያየው ማን ነው? እነዚህ ሰዎች ከየትኛው ጤና ጣቢያ ደብዳቤ ይዘው መጡ? ተብሎ ተጠይቆ መልሱ እስኪመጣ ግማሽ ቀን ቢታገሡ ኖሮ፣ ለእነዚያው ሕፃናት ጤና የደከሙ ሁለት ሰዎች በሕይወት በኖሩ ነበር። ስለ ጥላቻ ንግግርና ስለ ሐሰተኛ መረጃ የወጣው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ከዚህ በኋላ ታውጆአል፤ ነገር ግን አዋጅ የሚደርሰው ደም ከፈሰሰ በኋላ ነው፤ ወሬው በእጃችሁ ሲገባ የምትገኙት እናንተ ናችሁ።

ይሁን እንጂ ከዚህ ተነሥታችሁ ሁሉን መካድ ጥበብ ነው ብላችሁ እንዳትስቱ እፈራለሁ። «ማስረጃ የለም» ብሎ መናገር ማስረጃውን ሄደው ካልፈለጉ ሰዎች አፍ ሲወጣ ምርመራ አይባልም፤ ዓይንን መጨፈን ነው እንጂ። ዋግ አውራጃ በወሎ ጠቅላይ ግዛት ሥር በነበረበት በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. የወሎ ገበሬ በየመንገዱ ሲረግፍ፣ ነገሩ እንዳይሰማ የፈለጉ ባለሥልጣኖች የተጋነነ ነው፣ የተለመደ የዝናብ እጥረት ነው ይሉ ነበር። ሐሰታቸውን የገለጡት በቦታው ተገኝተው ያዩ ሰዎች ነበሩ። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ መምህራን ወሎ ድረስ ሄደው ያነሡትን ፎቶግራፍ በዩኒቨርሲቲው አሳዩ፤ በጥቅምት 1966 ዓ.ም. ደግሞ እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ «ያልታወቀው ረሃብ» ያለውን ፊልም ለዓለም አቀረበ።

የዚህ ፊልም ኋላ ታሪኩ፣ ልጆቼ፣ ዛሬ በየስልካችሁ ለሚመጣው ተንቀሳቃሽ ምስል ሁሉ መማሪያ ይሆናችኋልና ከሌላው ይልቅ ረዘም አድርጌ እነግራችኋለሁ። መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ፣ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን በሚወርዱበት ዋዜማ፣ ደርግ ይህንኑ ፊልም በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን አሳየ፤ ነገር ግን እንደ ነበረ አላሳየውም። በሚሞቱት ሕፃናትና በሚያለቅሱት እናቶች መካከል የቤተ መንግሥት ድግስና ንጉሠ ነገሥቱ ለውሾቻቸው ሥጋ ሲሰጡ የሚታይበትን ምስል ቈራርጦ ቀጠለበት። ከነዚህ ሥዕሎች አንዱም የተፈጠረ አልነበረም፤ ሕፃናቱ በእውነት ሞተዋል፣ ድግሱም በእውነት ተደግሶአል። ነገር ግን በየዘመኑና በየስፍራው የተነሣውን ምስል አጠገብ ለአጠገብ ያኖረው እጅ፣ አንድም የሐሰት ቃል ሳይናገር፣ ተመልካቹን ወደ ወሰነው ፍርድ አደረሰው። ያን ማታ ያየው ሰው በቍጣ ተነሣ፤ ቍጣውም አግባብ ነበረው፤ ምስሉን የቀጠለው ማን ነው፣ ለምንስ ዛሬ አሳየን ብሎ የጠየቀ ግን ጥቂት ነበረ።

የጠያቂ ማነስ ያስከተለውን ደግሞ ከዐሥር ዓመት በኋላ አየነው። የተደበቀውን ረሃብ ገለጥሁ ብሎ ሥልጣን የያዘው ያው መንግሥት፣ በ1977 ዓ.ም. መግቢያ የአብዮቱን ዐሥረኛ ዓመት በታላቅ ድምቀት ሲያከብር፣ ከዋግና ከላስታ የተነሣው ገበሬ ልጁን አዝሎ ወደ ኮረም ይጎርፍ ነበር፤ መንግሥቱም ወሬው በዓሉን እንዳያበላሽ ይሸፍን ነበር። መሐመድ አሚን ያነሣውና ማይክል በርክ በቢቢሲ የተናገረበት የኮረም ምስል ለዓለም የታየው በዓሉ ካለፈ በኋላ፣ ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. ነው። ለሙታን ማዘን አንድ ነገር ነው፣ ሙታንን መጥራት ሌላ ነገር ነው፤ በሙታን ስም የሚናገራችሁ ሰው ሁሉ ለሙታን የሚያዝን አይምሰላችሁ። የዚያ ዘመን ሟቾች ቍጥር ዛሬም አንድ አይደለም፤ 400,000 ያህል የሚል አለ፣ 1 ሚሊዮን የሚል አለ። ቍጥሩ የተለያየው በየመንደሩ የቈጠረ ስላልነበረ፣ ግምቱም ከተለያየ መነሻ ስለ ተነሣ ነው፤ ይህን ልዩነት ይዞ ረሃቡን የሚክድ ሰው ካያችሁ ግን ከእርሱ ጋር አትከራከሩ፤ ወላጆቻችሁን ጠይቁ።

አሁን ደግሞ የራሳችሁን ዘመን ነገር ላንሣ። በዝቋላ፣ በሰሃላ ሰየምትና በአበርገሌ ዝናቡ ሲቀር፣ ያውም ገበሬው ከሰሜኑ ጦርነት ቍስል ሳያገግም፣ በጥር 2016 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም በትግራይ 351፣ በአማራ ክልል 44 ሰዎች ከረሃብ የተነሣ እንደ ሞቱ አስታወቀ። በዚያው ወር መጨረሻ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ሲናገሩ በረሃብ የሞተ ሰው እንደሌለ፣ ከምግብ ማነስ ጋር በተያያዘ ሕመም የሞተ ግን ሊኖር እንደሚችል ገለጡ። ያን ጊዜ ከእናንተ ገሚሱ የአንዱን፣ ገሚሱ የሌላውን ቃል ተሸክሞ ሲሰዳደብ ሰነበተ። ሁለቱን አራርቆ የጠየቀ ሰው ግን ክርክሩ በምን ላይ እንደ ሆነ ያስተውላል። ረሃብ ብቻውን ሆኖ የሚገድለው ጥቂቱን ነው፤ አብዛኛውን የሚገድለው ሰውነቱን አድክሞ ለኩፍኝ፣ ለተቅማጥ፣ ለሳንባ ምች አሳልፎ በመስጠት ነው፤ በጤና ጣቢያው መዝገብ የሚጻፈውም የኋለኛው ደዌ ስም ነው። ስለዚህ ቈጣሪው ሁሉ አስቀድሞ ምን ብሎ እንደ ቈጠረ መጠየቅ አለበት። እኔ ግን ፍርዴን ልሰውረው አልወድም፤ የሚበላ አጥቶ ክንዱ የመነመነ ሕፃን በተቅማጥ ቢሞት የገደለው ረሃብ ነው እላለሁ።

ክንድ ካልሁ ዘንድ፣ ከመሐላና ከጩኸት የሚበልጥ ምስክር በየቀበሌያችሁ እንዳለ እወቁ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ከ6 ወር እስከ 59 ወር ዕድሜ ያለውን ሕፃን የላይኛ ክንድ ዙሪያ በመለኪያ ጥብጣብ ትለካለች፤ ከ11.5 ሴንቲ ሜትር በታች የሆነ እንደ ሆነ ከባድ የምግብ እጥረት ነው ብላ ትመዘግባለች። ያ ጥብጣብ ወገን የለውም፤ ማን እንደሚገዛና ማን እንደሚሸፍት አያውቅም። በ2007 ዓ.ም. በከተማችን ስም የተሰየመው የሰቆጣ ቃል ኪዳን የሕፃናትን መቀንጨር በ2022 ዓ.ም. ለማጥፋት ቃል ሲገባ፣ የቃሉ መጠበቅ የሚታወቀው በእንዲህ ያለ ልክ እንጂ በስብሰባ ንግግር አይደለም።

ፍየል ልትገዙ ወደ ጽጽቃ ገበያ ስትወጡ የባለቤቱን ምስጋና ሰምታችሁ ብር አትቈጥሩም፤ አፏን ከፍታችሁ ጥርሷን ታያላችሁ፣ ወገቧን ትዳስሳላችሁ፣ ታስኬዷታላችሁ፤ ለሕዝብ ስለሚነገር ነገር ቢያንስ ይህን ያህል ድከሙ። ይልቁንም ልባችሁን ደስ የሚያሰኘውን፣ ወገናችሁን የሚያጸድቅላችሁን፣ የምትጠሉትን የሚያዋርድላችሁን ወሬ አብዝታችሁ መርምሩት፤ የማትወዱትን ወሬ ለመመርመር መካሪ አያሻችሁም፣ ልባችሁ ራሱ ይቀሰቅሳችኋልና። ከሁሉ የሚያሳዝነኝ የ1977ን የኮረም ፎቶግራፍ የትናንት አስመስሎ የሚለጥፈው ሰው ነው፤ ለተራበው የጮኸ ይመስለዋል፤ ነገር ግን ሐሰቱ በተገለጠ ማግስት ከሰሃላ ቈላ የሚመጣውን እውነተኛ ፎቶግራፍ ሁሉ የሚያምን ይጠፋል፤ እርዳታ የሚሰጠውም ሰው እጁን ይሰበስባል።

ስለዚህ ነገ ከአንዱ ቀበሌ «ሰው በረሃብ አለቀ» የሚል ቃል ሲመጣላችሁ፣ አትካዱት፣ አትንዙትም። የቀበሌውን ስም፣ ቀኑን፣ የተናገረውን ሰው ጠይቁ፤ በዚያ ያለ ዘመድ ወይም መምህር ካላችሁ ደውሉለት፤ ስልክ የማይሠራ እንደ ሆነ ከዚያ የመጣ ገበያተኛ ፈልጉ፤ ሁለተኛውን ሰው ስትጠይቁ የመጀመሪያው ምን እንዳለ አትንገሩት። ያያችሁትን «አየሁ»፣ የሰማችሁትን «ሰማሁ» ብላችሁ ለይታችሁ ጻፉ፤ በፎቶግራፉ ላይ ቀኑንና ስፍራውን አኑሩ፤ ያልተረጋገጠውን ያልተረጋገጠ ነው በሉ። የጻፋችሁት ስሕተት ሆኖ የተገኘ እንደ ሆነም በስውር አትደምስሱት፤ በዚያው በጻፋችሁበት ገጽ፣ በዚያው ያነበቡት ሰዎች ፊት አርሙት። እውነት ሆኖ ከተገኘ ደግሞ በመጻፍ አታቁሙ፤ ስሙንና ቍጥሩን ይዛችሁ ወደ ወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት ሂዱ፣ መልስም እስክታገኙ ድረስ ከደጁ አትነሡ።